ዘረፋ ዘቢቸና

ስርጉት ሰው ማመን ያቆመችው አባቷ ከሞቱ በኋላ ነው።

የቢቸናው የቅኔ መምህር የኔታ ኃይለ ሚካኤል ተዝካራቸው በወጣ ማግስት አንድ የቀድሞ ደቀ መዝሙራቸው እያለቀሰ መጣ። «የየኔታን ደብተሮች አሳትሜ ስማቸውን አስጠራለሁ» አለ። እናቷ ወይዘሮ ወለተ ገብርኤል ሰባቱን ደብተር በነጠላ ጠቅልለው ሰጡት። መጽሐፉ በዓመቱ ታተመ፤ ሽፋኑ ላይ የተጻፈው ግን የደቀ መዝሙሩ የራሱ ስም ነበር። ደብተሮቹም ያን ቀን እንደ ወጡ ቀሩ።

ከዚያ ወዲያ የቀራት የአባቷ ድምፅ ብቻ ነው። በሕይወት ሳሉ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ቅኔያቸውን ሲያሰሙ በስልኳ እየቀዳች ያጠራቀመችው አራት መቶ አሥራ ሁለት ድምፅ ባንዲት አሮጌ፣ ባትሪዋ በሞተ፣ ያለ ገመድ በማትሠራ ላፕቶፕ ውስጥ ተቀምጧል። ለማንም አላሰማችውም፤ ለማንም አልላከችውም። እንዳይጠፋባት ስትፈራ ግን እዚያው ላፕቶፕ ላይ ደግማ ገለበጠችው። ስጋቱ ሲብስባት ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ አምስተኛ ገለበጠች። ፎልደሮቹን «ቅጂ»፣ «የቅጂ ቅጂ»፣ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ መጨረሻ» አለቻቸው።

አንድ ቀን ላፕቶፑ አዲሱን ሲስተም ልጫን ወይ ብሎ ጠየቃት። እሺ አለችው። የምትጠረጥረው ሰውን እንጂ ማሽንን አልነበረም። ዲስኩ ግን እስካፉ ሞልቶ ኖሮ ሥራው መንገድ ላይ ቆመ። አሮጌው ሲስተም ግማሹ ተነቅሏል፣ አዲሱ ደግሞ ግማሹ አልገባም። በጥቁሩ ስክሪን ላይ አንዲት ነጭ ሰረዝ ብልጭ ድርግም ትል ጀመር።

ቢቸና ያሉት ጠጋኞች «ፎርማት ይደረግ» አሏት። ያ ማለት ያለውን ሁሉ ጠርጎ መጣል መሆኑን ታውቃለች። አንደኛው ግን ፊቷን አይቶ አዘነና «ሞጣ መናኸሪያው አጠገብ ባንተአምላክ የሚባል አለ፤ እሱ ሳያጠፋ ያስነሣልሻል» አላት። «ይኼ ደግሞ ለእኔ ምን አስጨነቀው? ምን ያገኝበታል?» እያለች ሚኒባስ ተሳፈረች። ደብረ ወርቅንና ግንደወይንን አልፋ ሞጣ እስክትደርስ ላፕቶፑን ከጭኗ አላወረደችም።

ባንተአምላክ ሠላሳ ያልሞላው ቀጭን ሰው ነው። ሲጠይቁት ወዲያው አይመልስም፤ ትንሽ ዝም ይላል። ይኼ ዝምታው ገና ከመጀመሪያው አላማራትም። እውነት ለመናገር ጊዜ የሚወስድ ማን ነው?

«እህቴ፣ ውስጡ ምን አለ?»

«የግል ነው። እርስዎ ሲስተሙን ብቻ ይሥሩልኝ።»

«እርስዎ» ያለችው አክብራው አይደለም፤ ልታርቀው ነው።

ላፕቶፑን በራሱ ፍላሽ አስነሥቶ ዲስኩን አየና ግራ ገባው። «አምስት ጊዜ?» አለ። «አንዱን ነገር አምስት ጊዜ፣ እዚያው አንድ ዲስክ ላይ? ዲስኩ ቢሞት እኮ አምስቱም አብረው ነው የሚሞቱት። ቦታውን የጨረሰብሽ ፍርሃትሽ ነው።»

«ምክር አልጠየቅሁም» አለችው። ጆሮዋ ግን ጋለ።

ሥራው ከባድ አልነበረም። ድምፁን አንድ ጊዜ ወደ ውጭ ማውጣት፣ ትርፉን መሰረዝ፣ ቦታ ሲገኝ የቆመውን አፕግሬድ ማስጨረስ ነው። ለሌላ ሰው ባንድ ቀን ያልቃል፤ ለስርጉት አምስት ቀን ፈጀ። የእሱን ፍላሽ አልቀበልም ብላ ከሌላ ሱቅ ገዝታ መጣች። በርጩማ ስባ ከጎኑ ተቀመጠችና ዓይኗን ከጣቶቹ አልነቅል አለች። ምሳ ሲወጣ አብራ ትወጣለች። አመሻሽ ላይ ዲስኩን አስፈትታ፣ ከፍላሹ ጋር በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ አክስቷ ይርጋነሽ ቤት ትገባለች። ጠዋት ይዛው ትመጣና እንደገና ይገጠማል። ባንተአምላክ አንድም ቀን አልተነጫነጨም፤ እሱም ራሱ አስጠረጠራት።

በሁለተኛው ቀን ምሳ ላይ ስንጉን ቃሪያ ወደ እሷ ገፋ አደረገላት።

«ለምን?» አለች።

«ስትወጂ አይቼ ነዋ» አለ ቆይቶ።

ምን ፈልጎ ነው ብላ አሰበች። ቃሪያውን ግን በላችው።

በሦስተኛው ቀን «ድምፁ ደኅና መውጣቱን እንድናውቅ አንዱን ላሰማው?» ብሎ ጠየቃት። ብዙ አቅማምታ ፈቀደችለት። የአባቷ ድምፅ ከዚያች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ወጣ። ባንተአምላክ እጁን ከኪቦርዱ አነሣ፤ ቀስ ብሎ ቆቡን አወለቀ። የመጨረሻዋን ቃል አባቷ ከማለታቸው በፊት በከንፈሩ አላት። ቀና ሲል ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ተያዩ። ለትንሽ ጊዜ ስርጉት ዓይኗን ማንሣት አቃታት።

«እንዴት አወቁት?»

«መርጡለ ማርያም ሁለት ዓመት ቅኔ ቤት ነበርኩ። ሳልጨርስ ወጣሁ እንጂ፣ ቤት መምቻውን ጆሮዬ ይቀድመዋል።»

ወዲያው ልቧ ወደ ጥርጣሬው ተመለሰ። ያ ደብተር የወሰደውም አልቅሶ ነበር። ቅኔም ያውቅ ነበር። የማያውቅማ ለምን ይሰርቃል?

አምስተኛው ቀን ላይ አፕግሬዱ እንደገና ተነሥቶ ከግማሽ አለፈ። ፍላሹም ከሱቁ ኮምፒውተር ጋር ተሰክቶ ድምፁ ደኅና መሆኑ ይፈተሻል። ባንተአምላክ ደንበኛ ጠርቶት ወደ በሩ ወጣ። ስርጉት ዓይኗን ወደ ጎን፣ ወደ እሱ የራሱ ኮምፒውተር ጣል ስታደርግ ከስክሪኑ ጥግ አንድ ፎልደር አየች። ስሙ «ዘረፋ ዘቢቸና» ይላል። ከፈተችው፤ ቁጥሩ አራት መቶ አሥራ ሁለት ነው።

«ሌባ!»

መናኸሪያው ዞሮ አያት። «እርስዎ» ያኔ ቀረ። «አንተ ሌባ! ዘረፋ ብለህ እስከ መጻፍ ደረስህ? አላፍር ብለህ!»

«ስርጉት፣ ስሚኝ። ፍላሹን ስፈትሽ ሳልጠይቅሽ መገልበጤ ጥፋት ነው። ዲስኩንም ፍላሹንም ባንድ ቋጠሮ ይዘሽ ስትሄጂ አይቼ ፈርቼ ነው።»

«አጥፋው! አሁኑኑ፣ እያየሁ!»

ዓይን ዓይኗን እያየ ሰረዘው።

የላፕቶፑን ገመድ መንጭቃ፣ ፍላሹን ነቅላ ወጣች። «ኧረ አላለቀም! ገመዱን አትንቀዪው!» እያለ እስከ ሚኒባሱ ተከተላት። በሩን ዘጋችበት። ግንደወይን ሳትደርስ የስልክ ቁጥሩንም ዘጋችው።

ቢቸና ደርሳ ስትሰካው ላፕቶፑ ሰረዟን እንኳ አላሳይ አለ። የቢቸናው ጠጋኝ ዲስኩን ከሌላ ማሽን ጋር አገናኝቶ ቢሞክረው አልነበብም አለ። ፍላሹ ደግሞ በሥራው መሐል ተነቅሎ ኖሮ «ፎርማት አድርጊኝ» ይላል። የተረፈው ቅጂ አንድ ነበር፤ እሱንም ራሷ አሰርዛዋለች።

ሳምንት ሙሉ ለእናቷ አልነገረቻቸውም። በስምንተኛው ቀን ግን ምስር ሲለቅሙ አጠገባቸው ተቀመጠችና እንባዋ ቀደማት። ሁሉንም ነገረቻቸው።

«የፎልደሩን ስም ምን አልሽኝ?» አሉ ወይዘሮ ወለተ ገብርኤል።

«ዘረፋ ዘቢቸና።»

እናቷ ሰፌዱን አስቀመጡ። ከዚያ ሳቁ፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ እንዲያ ሲስቁ አይታ አታውቅም።

«አንቺ ልጅ፣ አባትሽ ዕድሜ ልካቸውን ምን ሲሠሩ ኖሩ? ቅኔ ሲዘርፉ አይደለም እንዴ? የቢቸና ቅኔ ማለቱ ነው እንጂ ሌባ የሌብነቱን ስም ጽፎ ያስቀምጣል? ደግሞ በግዕዝ!»

ስርጉት ክው አለች። የቅኔ መምህር ልጅ ሆና፣ በዚህ ቃል ውስጥ አድጋ፣ ሰሙን ይዛ ወርቁን ስታለች። እንዲያም ሆኖ ጥርጣሬዋ እጅ አልሰጠም። «ያ የሰረቀንም ግዕዝ ያውቅ ነበር» አለች።

«እሱ የራሱን ስም ጻፈበት። ይኼኛው የማንን ስም ጻፈ?»

በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ሞጣ ወረደች። ድምፁን አገኛለሁ ብላ አይደለም፤ ሰው ፊት ሌባ ያለችውን ሰው ሰው ፊት ይቅርታ ልትጠይቅ ነው።

ባንተአምላክ ጎንበስ ብሎ የተከፈተ ስልክ ይበይዳል። የራሱ ኮምፒውተር ገመዱ ተነቅሎ፣ ነጭ ጨርቅ ለብሶ ቆሟል። ሲያያት መበየጃውን አስቀመጠ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች፣ ደጅ የቆሙት እንዲሰሙ ጮክ ብላ። «ሌባ ያልኩዎት በስሕተት ነው።»

ዝም አለ። ያ ዝምታ ድሮ ያስጠረጥራት ነበር፤ አሁን ግን ጠበቀችው።

«የስድቡ ቀን አንተ ብለሽኝ ነበር» አለ በመጨረሻ። «እሱ ይሻለኛል።»

ሳትፈልግ ሳቀች። ከዚያ ማልቀስ መጣባት። «ሁሉም ጠፋ። ዲስኩም፣ ፍላሹም። ያንተን ደግሞ ራሴ አስጠፋሁ።»

«ገመዱን ስትነቅዪ ፈርቼ ነበር። ደወልኩ፤ አልሠራም አለኝ።» ተነሥቶ ጨርቁን ገለጠ። «የተሰረዘ ነገር ወዲያው አይጠፋም። ላዩ ላይ ሌላ ካልተጻፈበት እዚያው አለ። አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ ይኼን ማሽን አልነካሁትም።»

«ዘጠኝ ቀን ሙሉ? ሥራህስ?»

«ስልክ እጠግናለሁ። ኮምፒውተር ይዞ የመጣውን ሁሉ ወደ ሌላ ሰው ላክሁ።»

«ባልመጣስ?»

«ትመጫለሽ ብዬ ነዋ።»

እስከ ማታ አብረው ተቀመጡ፤ በርጩማዋን ግን ያን ቀን የሳበው እሱ ነው። ድምፆቹ አንድ ባንድ ወጡ። አራት መቶ ዘጠኙ ደኅና ነበሩ። ሦስቱ አልመለስ አሉ። ስርጉት የሦስቱን ቁጥር ስታይ ፊቷ ጠቆረ፤ አንዱን ታውቀዋለች። አባቷ በክርስትናዋ ዕለት የተቀኙላት ጉባኤ ቃና ነበር፤ ሁለት ስንኝ ብቻ።

«እሱን ይዤዋለሁ» አለ ባንተአምላክ።

«የት?»

ቆቡን አወለቀና በቃሉ አለላት። አንድም ቃል አልሳተም። በአባቷ ዜማ፣ በአባቷ አነሳስ። አንገቷን ደፍታ ሰማችው።

«ሥርጉት የሚል ቃል ስላለበት ደጋግሜ ሰማሁት» አለ ሲጨርስ። «ይኼንንም ሳላስፈቅድሽ።»

ዓይኗን አነሣች። የምትጠረጥረው ነገር ፈለገች፤ ልማድ ነውና። ምንም አላገኘችም። የወጡትን ድምፆች በአዲስ ዲስክ ገልብጦ ሲሰጣት ተቀበለችና፣ ጥቂት አስባ፣ ጣቷን ወደ እሱ ኮምፒውተር ቀሰረች።

«ያኛውን አትሰርዘው» አለች። «አንዱ አንተ ዘንድ ይቀመጥልኝ።»

ስርጉት በሕይወቷ ለማንም እንዲህ ብላ አታውቅም። እሱም ገባው መሰለኝ፣ ፎልደሩን ዘግቶ ኮምፒውተሩን በነጩ ጨርቅ መልሶ ሸፈነው።

ከፋሲካ በኋላ ከሞጣ ሦስት ሽማግሌዎች ቢቸና ገቡ። ከእነሱ አንዱ መሪጌታ ሣህለ ማርያም ባንተአምላክን አመሰገኑ፤ ሥራውን፣ ጠባዩን፣ ዘሩን ቆጠሩ። ወይዘሮ ወለተ ገብርኤል አቀርቅረው ሰሙ። ስርጉት ጓዳ ሆና በሩን ተደግፋለች።

«ይኼ ልጃችሁ ግን» አሉ እናቷ በመጨረሻ፣ «ዘራፊ ነው ይሉኛል።»

ሽማግሌዎቹ ደነገጡ። መሪጌታ ሣህለ ማርያም ሊምሉ እጃቸውን ሲያነሡ ወይዘሮ ወለተ ገብርኤል ቀደሟቸው።

«ተዉ አይማሉ፣ አባቴ። እኔም ሠላሳ ሁለት ዓመት የኖርኩት ከዘራፊ ጋር ነው፤ ክፉ አላየሁበትም። ይውሰዳት።»