የጋቢናው ውሃ

መኪናዋን የገዛችው ለአባቷ ብላ ነው። አባቷ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ኩላሊታቸው ከደከመ ወዲህ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ለእጥበት ሆስፒታል ይመላለሳሉ። እሷ በአንድ የእናቶች ክሊኒክ አዋላጅ ነርስ ናት፤ ሰፈሩ ስሟን ትቶ «ሲስተር» ይላታል። እናቷ ከሞቱ ጀምሮ አባትና ልጅ ሁለት ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። «መቼ ነው የምታገቢው?» የሚላትን ሰው በፈገግታ ማሳለፍ ከለመደች ቆይታለች።

መኪናዋ ያገለገለች ብትሆንም በጋውን ሙሉ አንድም ቀን አላስቸገረችም። ክረምት ሲገባ ግን ጉዷ ወጣ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ በሆስፒታሉ በር ላይ አባቷን ደግፋ ስታወርድ፣ የቀኝ እግራቸው ካልሲ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ርሶ አየችው።

«አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ምንም አይደል ልጄ» አሉ። «እነሱ ኩላሊቴን ሳያጥቡልኝ፣ አንቺ እግሬን አጠብሽልኝ።»

እሷ አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ የጋቢናውን ምንጣፍ ስትጫነው ጣቶቿ ውሃ ውስጥ ገቡ።

መጀመሪያ የወሰደችበት ጋራዥ በመስታወቱ ዙሪያ ሲሊኮን ለቅልቆ መለሰላት። ሁለተኛው የበሩን ጎማ ቀየረው። ውሃው ሁለቱንም ንቆ መግባቱን ቀጠለ። መኪናዋ ሻጋታ ሻጋታ መሽተት፣ አባቷም በመንገዱ ሁሉ መሳል ጀመሩ። በመጨረሻ አንዲት የሥራ ባልደረባዋ፣ «ከገበያው ጀርባ አንድ ባለመስታወት አለ። አፉ አይናገርም እንጂ እጁ ይናገራል» አለቻት።

ባለመስታወቱ ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ረጋ ያለ ሰው ነበር። የመኪና መስታወት መንቀልና መግጠም የኖረበት ሙያ ነው፤ በእጆቹ ላይ ያሉት ቀጫጭን ጠባሳዎች ይመሰክራሉ። ሰላምታዋን ተቀብሎ በሩን ከፈተ፤ እጁን ከምንጣፉ ሥር ሰደደና ጣቶቹን አሸተተ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እህቴ?»

«ሦስት ሳምንት ሆነው። ሁለት ቦታ ወስጃት ነበር።»

«የገባበትን ሳያዩ ነው የደፈኑት» አለ። «ውሃ ሌባ ነው። በጣሪያ ይገባና ወለል ላይ ይያዛል።»

«ስንት ቀን ይፈጅብሃል?»

«እንጃ። መጀመሪያ ትድረቅ።»

ሁለት ቀን ወንበሩንና ምንጣፉን አውጥቶ አደረቃት። በሦስተኛው ቀን ከሥራ ስትመለስ ወንበሩን መልሶ፣ ባዶው ወለል ላይ ጋዜጣ አንጥፎ፣ የውሃ ጎማ ይዞ ቆሞ አገኘችው። አብሮት የሚሠራው ሰው ቀርቶበታል፤ ሥራው ደግሞ ሁለት ሰው ይፈልጋል።

«ውስጥ ትቀመጪልኛለሽ? ባትሪውን ጋዜጣው ላይ አብሪ። ጠብታ ካየሽ መስታወቱን አንኳኪ።»

ገብታ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠችና በሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል ወደ ፊት ተንጠራራች። እሱ በሩን ዘጋና ከታች፣ ከበሩ ደፍ ጀመረ። ትንሽ ያፈስሳል፤ ቆሞ ይጠብቃል፤ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ይላል። ዝግታው አናደዳትና መስኮቱን ዝቅ አደረገች።

«ለምን ከላይ አትጀምርም?»

«ከላይ ከጀመርኩ ውሃው ሁሉንም እያዳረሰ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ጥፋተኛውን ከንጹሑ መለየት አልችልም።»

መስኮቱን መልሳ ዘጋች። ውስጡ ጭር ያለ ነው፤ የሚሰማው የውሃው ድምፅ ብቻ ነው። ወደ ፊት መስታወቱ ሲደርስ መልኩ ከውሃው ጋር ይፈስና ተመልሶ ይሰበሰባል። ዓይኑ መስታወቱ ጠርዝ ላይ ነበር። ኋላ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ከሁለቱ አንዳቸው እንኳ ቶሎ ዞር አላሉም። ወደ ጋዜጣው ስትመለስ ውሃው የመዳፍ ያህል ሰፍቷል። ደንገጥ ብላ አንኳኳች።

«ከጀመረ ቆየ እንዴ?» አላት በሩን ከፍቶ።

«አሁን ነው» ብላ ዋሸች፤ ፊቷም ጋለ።

ከዝናብ መጥረጊያው ሥር ያለው የውሃ መውረጃ በበሰበሰ ቅጠል ተደፍኖ ነበር። እፍኝ ሙሉ ጭቃ ዝቆ አወጣ። ሌላ ሠራተኛ ቢሆን «አለቀ» ብሎ ቁልፏን በሰጣት። እሱ ግን አዲስ ጋዜጣ አነጠፈና እንደገና ጀመረ። ውሃው ወደ መስታወቱ የቀኝ የላይኛ ማዕዘን ሲደርስ አንዲት ጠብታ ከጣሪያው ልባስ ሥር ሾልካ፣ በመስታወቱና በበሩ መካከል ባለው ምሰሶ ሽፋን ውስጥ ተንሸራታ ወረደች።

«መስታወቱ መነቀል አለበት» አለ።

ማጣበቂያውን ከሌላ ከተማ ማስመጣት ነበረበትና አንድ ሳምንት ጠበቁ። አባቷን በታክሲ እያመላለሰች፣ ከሥራ ስትወጣ ግን በጋራዡ በኩል ማለፍ አመጣች። መንገዷ አይደለም፤ ሆኖም መንገዷ አደረገችው። ዳቦ ይዛ ትመጣለች፤ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጠው ይካፈሏታል። እሱ የሚናገረው ትንሽ ነው። የሚያዳምጠው ግን እንደሚሠራው ነው፤ ሳይቸኩል።

«ስንት ልጅ አዋልደሻል?» አላት አንድ ቀን።

«ከሺህ በኋላ መቁጠር ተውኩ።»

«ሁሉም ያለቅሳሉ?»

«የሚያለቅሰውን አንፈራውም። የሚያስፈራን ዝም ያለው ነው።»

ቀና ብሎ አያትና ፈገግ አለ። «እኔን አዋላጇ ፈርታኝ ነበር ማለት ነው» አለ። ከስንት ጊዜ በኋላ ከልቧ ሳቀች።

መስታወቱ የተነቀለው ሐሙስ ዕለት ነው። በዚያው ዕለት ጠዋት አባቷ ትንፋሽ አጥሯቸው ሆስፒታል ተኙ። አመሻሹ ላይ ወደ ጋራዡ ስትመጣ ዓይኗ ጎድጉዷል። መስታወቱ ብርድ ልብስ ላይ ተጋድሟል። ባለመስታወቱ ሥራ ፈትቶ አጠገቡ ቆሟል።

«ሲስተር፣ ነይና እይው።»

መስታወቱ የሚያርፍበትን የላሜራ ጠርዝ አሳያት። አንድ ክንድ ያህሉ ዝጎ ተበልቷል። ከዝገቱ ጎን በጥቁር ቀለም የተጻፈ ቀን አለ፤ ከቀኑ በታች ትንሽ ምልክት።

«ይሄ የኔ ጽሑፍ ነው» አለ።

«አልገባኝም።»

«ከስድስት ዓመት በፊት ይሄን መስታወት የገጠምኩት እኔ ነኝ። ያኔ ሌላ ቦታ ተቀጥሬ ነበር። መኪናዋ ነጭ ነበረች፤ ቀለሟ ስለተቀየረ አላወቅኋትም። አሮጌውን ማጣበቂያ ስቆርጥ ላሜራውን ጫርኩት። የተጫረውን ፀረ ዝገት ቀብቼ፣ እስኪደርቅ መጠበቅ ነበረብኝ። አልቀባሁም። እንዲሁ አጣበቅሁበት። ዝገቱ ከሥር እየበላ እየበላ እዚህ ደረሰ።»

ዝገቱን በጣቷ ነካ ስታደርገው ረገፈ።

«አባዬ ዛሬ ሆስፒታል ተኝተዋል» አለች። «ሳንባቸው ውሃ ቋጥሯል። አንተ ደግሞ እግራቸውን ሲያርስ የከረመው የኔ ሥራ ነው ትለኛለህ። ምን እንድልህ ነው?»

«ምንም እንድትዪኝ አይደለም። ያንቺ መኪና ናት፤ ማወቅ አለብሽ።»

ዞራ ሄደች። ሥራው አልቆ ቁልፏን ልትወስድ ስትመጣ፣ ውሃ አፍስሼ ካላሳየሁሽ አላት። ጀርባዋን ሰጥታው ቆመች። ከዚያ ለማያውቁት ሰው እንደሚባለው «እግዜር ይስጥልኝ» ብላው ነዳች። ዝናቡ ከዚያ በኋላ ሳምንት ሙሉ አላባራም፤ የጋቢናው ወለል ግን እንደ ኩበት ደርቆ ከረመ።

አባቷ በዘጠነኛው ቀን ከሆስፒታል ወጡ።

«ያ ባለመስታወት ምን ሆነ?» አሏት አንድ ማታ እራት ላይ። «ስሙን ማንሳት ተውሽ።»

ነገረቻቸው። ሐኪም የፈቀደላቸውን ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ቀስ እያሉ ጠጡ።

«እሱ ባይነግርሽ ማን ያውቅበት ነበር?»

«ማንም።»

«እህ» አሉና ሬዲዮናቸውን ከፈቱ።

ብዙም ሳይቆይ የክሊኒኩ ፈረቃ ተቀየረና ማክሰኞ ጠዋት ሥራ ሆነባት። እንዴት ላድርግ ብላ ስትጨነቅ አባቷ፣ «አንድ የማውቀው ልጅ ያደርሰኛል፤ ሐሳብ አይግባሽ» አሏት። የድሮ ተማሪያቸው መሰላትና ደግማ አልጠየቀችም።

ስድስት ማክሰኞ አለፈ። በሰባተኛው ባልደረባዋ ፈረቃ ተቀያየረቻትና እኩለ ቀን ላይ ወደ ሆስፒታሉ ሄደች። የእጥበት ክፍሉ ነርስ በር ላይ አገኘቻት።

«ዛሬስ ሁለታችሁም መጣችሁ» አለቻት። «ባልሽ መቼም የተባረከ ነው። ሌላው አስታማሚ ሻይ ልጠጣ ብሎ በዚያው ይቀራል፤ እሱ አራት ሰዓት ሙሉ ከወንበሩ አይነሳም።»

«ባሌ?»

ነርሷ በአገጯ ወደ ውስጥ አመለከተቻት። አባቷ ክንዳቸው ላይ ቱቦ እንደተሰካ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ባለመስታወቱ ከግርጌያቸው ጎንበስ ብሎ፣ ብርድ እንዳይገባቸው ብርድ ልብሱን በእግራቸው ዙሪያ እየጠቀለለ ነበር። ቀና ሲል አያት። ኮፍያውን አንስቶ ወጣ፤ ልሂድ እንደሚል ሰው ኮሪደሩ ላይ ቆመ።

«ማን ጠራህ?»

«አባባ። መኪናዋ ውስጥ ስልኬን ጽፌ ትቼ ነበር።»

«ምን ብለው?»

«‹እግሬን ያራስከው አንተ ነህ አሉ፤ እንግዲያው ና እግር ሁነኝ› አሉኝ።»

ሳቅም እንባም አንድ ላይ መጣባትና ሁለቱንም ዋጠቻቸው። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። እሱም ራቅ ብሎ ከጫፉ ተቀመጠ።

«ያን ጊዜ ለምን ቸኮልክ?» አለችው። «አንተ የምትቸኩል ሰው አይደለህም። ይሄን ሳስብ ነው የከረምኩት።»

ኮፍያውን በእጁ እያዟዟረ ቆየ።

«እናቴ ታማ ነበር። ቶሎ ድረስ ብለው ደወሉልኝ። ፀረ ዝገቱ እስኪደርቅ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። ሃያዋን ደቂቃ ለናቴ አተረፍኩ አልኩ። ስደርስ ፊቷን ሸፍነዋታል።»

በኮሪደሩ አንዲት ጽዳት ሠራተኛ ባልዲዋን እየገፋች አለፈች። 

«ዝገቱን ያሳየኸኝ ዕለት ይሄን ለምን አልነገርከኝም?»

«አንቺ አባትሽን አስተኝተሽ መጥተሽ፣ እኔ በናቴ ላመካኝ?»

«እኔም የምነግርህ አለኝ» አለች፤ ድምጿ ወረደ። «ነርስ ነኝ። አባዬን ያስተኛቸው ካልሲ እንዳልሆነ ያኔውኑ አውቅ ነበር። ኩላሊታቸው ነው። ከኩላሊት ጋር መጣላት ስላልቻልኩ ካንተ ጋር ተጣላሁ።»

«አውቃለሁ።»

«እያወቅክ ለምን ዝም አልክ?»

«መቆጣትሽን ችዬው ነበር» አለ። «መቅረትሽን ነው ያልቻልኩት።»

እጇን ዘርግታ ኮፍያውን ከእጁ ወሰደችና አጠገቧ አስቀመጠችው። ቦታው ባዶ ሲሆን ያ ጠባሳ የበዛበት እጅ እጇ ውስጥ ገባ። ወደ ክፍሉ ሲመለሱ አባቷ ነቅተዋል። አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አዩ። «ሁለታችሁም አላችሁ? በሉ እኔ ልተኛ» ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ክረምቱ ሲወጣ ተጋቡ። አክስቷ፣ «የተማረች ልጅ ለጋራዥ ሠራተኛ?» ብለው አጉረምርመው ነበር። አባቷ ሰምተው፣ «እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመት አስተምሬያለሁ» አሉ። «ማንም ሳይጠይቀው ‹ተሳስቻለሁ› ብሎ የተነሳ ተማሪ ያየሁት ሁለት ነው። ይሄ ሦስተኛዬ ነው።» አክስቷም ከዚያ ወዲያ ነገሩን አላነሱትም። እጥበት በሌለበት እሑድ፣ ሳሎን ውስጥ፣ አሥራ አምስት ሰው ባልሞላበት ሰርግ፣ አባቷ ከወንበራቸው ሳይነሱ የሁለቱን ራስ ይዘው መረቁ።

ሰባት ወር አብረዋቸው ኖሩ። በስምንተኛው፣ አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ሬዲዮናቸውን እየሰሙ አረፉ።

እሷ አላለቀሰችም። እንግዳ ተቀበለች፤ ያለቀሱትን አጽናናች፤ ልብሳቸውን አጣጥፋ ለሚገባው ሰጠች። «ነርስ ናት፤ ሞት ለምዳለች» አሉ ሰዎች። ባሏ ግን ሌሊት ሌሊት ትንፋሿን ያዳምጥ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት፣ ጋራዥ ላድርስህ ብላው አብረው ወጡ። አደባባዩ ላይ ወደ ግራ መታጠፍ ሲገባት ወደ ቀኝ ታጠፈች። እሱም አየ፤ መንገዱን መመልከቱን ቀጠለ። ሆስፒታሉ በር ላይ፣ አባቷን ታወርድበት ከነበረው ቦታ፣ መኪናዋን አቁማ ጠበቀች። የበሩ ዘበኛ መኪናዋን ከሩቅ አውቋት፣ እንደ ሁልጊዜው አባቷን የሚቀበልበትን ባለጎማ ወንበር እየገፋ መጣ። በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ ሲያይ ሽማግሌው የሉም። አንዴ ወደ እሷ፣ አንዴ ወደ ጥቁር ልብሷ ተመለከተ። ባርኔጣውን አወለቀ፤ ባዶውን ወንበር ቀስ ብሎ ወደ ኋላው ሳበው።

ያኔ ግንባሯን መሪው ላይ አድርጋ አለቀሰች። ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ፣ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ከኋላ የመጣ መኪና ጥሩምባ ነፋባቸው፤ ዘበኛው በእጁ በሌላ በኩል እንዲያልፍ አደረገው። ባሏ «በቃሽ» አላላትም። መዳፉን ጀርባዋ ላይ አሳረፈ።

«ትንሽ እንቆይ» አለችው ቀና ሳትል።

«እንቆይ» አለ። እጁን ሰድዶ ሞተሩን አጠፋው።