ማሳው ራሱን ሲዘራ

«‹ይህ እድሳት አይደለም፤ ግድያ ነው!›» ጠበቃው ጮክ ብሎ አነበበና ወረቀቱን በጣቱ መታ መታ አደረገው። «አቦ ይመችሽ! ይቺ ዓረፍተ ነገር ብቻዋን ግቢውን ታናውጠዋለች።»

ጠበቃው እውነተኛ ጠበቃ አይደለም፤ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነው። ከመምህር ጋር ተከራክሮ ግማሽ ማርክ ያስጨመረ ዕለት ስሙ ወጣለት፤ ከዚያ ወዲህ ከማንም ጋር ይከራከራል። የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ በእረፍት ሰዓት የሚያስተላልፈውን የሚመርጠውም እሱ ነው። ሚኒ ሚዲያው ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ድሮ የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫ ስለነበረች፣ ማይክሮፎንና ድምፅ ማጉያ ከገባላትም በኋላ የኳስ ሽታ አልለቀቃትም።

ጽሑፉን የጻፈችው ልጅ ወንበር አጥታ አሮጌ ካርቶን ላይ ተቀምጣለች። ቤተሰቧ ገበሬዋ ይላታል። አርሳ አታውቅም፤ ስሙ ከየት እንደመጣ ቆይተን እንደርስበታለን። አሁን ደስ ብሏታል፤ ደስታዋን ላለማሳየት ግን የጫማዋን ክር ትፈታለች፣ መልሳ ታስራለች። ማይክሮፎኑ ፊት ለመቆም ስትለምን ነው የከረመችው። ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ጻፈች፤ ጠበቃው «እንቅልፍ ያመጣል» አላት። ስለ መጸዳጃ ቤቱ ጻፈች፤ «እሱስ ያለ አንቺም ይሸታል» አላት። የሚያናድድ ነገር ካላመጣሽ አትምጪ ብሎ በመለሳት ሰሞን ነው አንድ የድሮ የኮምፒውተር ጌም ታድሶ የወጣው።

ጌሙ የታላላቆቻቸው ጌም ነው። መንደር ትመሠርታለህ፣ እንጨት ታስቆርጣለህ፣ እህል ታስዘራለህ፣ ጦር ታሰለጥናለህ፤ ጠላትህም በዚያው ሰዓት ይህንኑ ስለሚያደርግ ተራ መጠበቅ የለም። እድሳቱ ክፍሉን ለሁለት ከፍሎታል። ግማሹ «አምሮበታል» ይላል፣ ግማሹ «ተበላሸ» ይላል። ገበሬዋ ከተበላሸ ባዮቹ ወገን ናት። ቀለሙ በዝቷል፣ የድሮው ሥዕል ጥርት ያለ ነበር ብላ ጽፋለች። ከሁሉ በላይ ያንገበገባት ግን የእርሻው ጉዳይ ነው። በድሮው ጌም ማሳው ታጭዶ ሲያልቅ ተጫዋቹ ራሱ እንደገና ካላዘራው ገበሬው እጁን አጣጥፎ ይቆማል። በአዲሱ ግን ሴቲንጉ ውስጥ አንዲት ምልክት ከነካህ ማሳው ራሱን እየዘራ ይኖራል። «ጌሙን ለሰነፎች ሸጡት» ብላ ጽፋለች፤ ከሥሩም አስምራበታለች።

አንድ ያልጻፈችው ነገር አለ። አዲሱን ጌም የተጫወተችው በጠበቃው አጎት ልጅ ኮምፒውተር ላይ፣ እሱ ሻወር ወስዶ እስኪወጣ ድረስ ብቻ ነው። ሰውየው ደግሞ ቶሎ ነው የሚታጠበው።

«ነገ በመጀመሪያው እረፍት» አለ ጠበቃው። «ለሁሉም ተናግሬያለሁ። እንዳታሳፍሪኝ።»

ወደ ቤት ስትመለስ ዓረፍተ ነገሮቿን በልቧ እያጠናች ነበር። የሚኖሩት ፎቅ ላይ ነው፤ የእናቷ ታናሽ እህት ደግሞ በዚያው ሕንጻ ከምድር ቤት ትኖራለች። የአክስቷን በር ሳያልፉ ደረጃ መውጣት አይቻልም። ገበሬዋ ከጎረመሰች ወዲህ ግን ያንን በር በፍጥነት ማለፍ ለምዳለች። አክስቷ ስትጠራት «ፈተና አለብኝ» ትላለች፤ ፈተና በሌለበት ወርም ትላለች።

«ገበሬዬ፣ ነይማ አንድ ነገር ላሳይሽ» አለች አክስቷ በተከፈተው በር።

ፈተና አለብኝ ልትል አፏን ከፈተች። የዛሬው ደስታ ሆዷን አስፍቶት ነው መሰል፣ «እሺ፣ ለትንሽ» ብላ ገባች።

ጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተር አለ። የአክስቷ መሥሪያ ቤት ዕቃ ሲቀይር ለሠራተኞቹ ካከፋፈላቸው አንዱ ነው። ስክሪኑ ላይ የተከፈተው ያው ጌም ነበር፤ የታደሰው።

አክስቷ የከተማ አውቶቡስ ስምሪት ኃላፊ ናት። የትኛው አውቶቡስ በየትኛው መስመር ይውጣ፣ ሾፌር ሲቀር ማን ይተካው፣ አንዱ መንገድ ላይ ቢቆም ከየት ይላክ፣ ይህን ሁሉ ከአንድ ወንበር ሆና ትዘውራለች። ገበሬዋ አንደኛ ክፍል ሳለች እናቷ የምትሠራው በከሰዓት ፈረቃ ስለነበር ከትምህርት ቤት መልስ የምታመሸው አክስቷ ዘንድ ነው። አክስቷ ቀን አውቶቡስ ስታሰማራ ውላ፣ አመሻሽ ላይ ጫማዋን አውልቃ ጦር ታሰማራለች። ማውሱ አንድ ነው። ሕፃኗ ጎኗ ቁጭ ብላ ስትቁነጠነጥ አክስቷ መላ ዘየደች።

«እኔ ወንዙ ጋ ጦርነት ላይ ነኝ፤ ማሳውን ማየት አልችልም» አለቻት። «ማሳው ያንቺ ነው። ባዶ ሲሆን ‹እርሻ› በይኝ።»

ከዚያ ዕለት ጀምሮ ልጅቷ ዓይኗን ከስክሪኑ ጥግ አልነቀለችም። ስንዴው ቢጫ ይሆናል፣ ይሳሳል፣ ያልቃል። «እርሻ!» ትላለች። አክስቷ ቀና እንኳ ሳትል እጇ ሄዶ ይዘራል። ገበሬዋ የሚለው ስም የወጣላት ያኔ ነው። ሥራውንም እንደ ቀልድ አላየችውም፤ እናቷ መጥታ ምን ስትሠሪ አመሸሽ ስትላት፣ «ሕዝብ ስመግብ» ብላ ትመልስ ነበር።

በኋላ የአክስቷ ዓይን ደከመ። የጌሙ ፊደል ጉንዳን አከለባት፣ አሮጌው ኮምፒውተርም ሲያቃስት ከርሞ አረፈ። ልጅቷም አደገች። የተጣላ የለም፤ ነገሩ እንዲሁ ቀረ።

«እይ እስቲ» አለች አክስቷ አሁን፣ ወንበሯን እያስጠጋች። ፊደሉ እንዴት እንደሚጎላ አሳየቻት። ፍጥነቱን ዝቅ አድርጎ መጫወት እንደሚቻል አሳየቻት። ለአንድ ወታደር እዚህ ሂድ፣ ከዚያ ወደዚያ፣ ከዚያ ተመለስ ብሎ ትእዛዙን በተራ መደርደር እንደሚቻልም አሳየቻት፤ ይሄማ የስምሪት ወረቀት ማለት ነው ብላ ሳቀች። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው።

«ይህን ያደሱት ሰዎች ይባረኩ» አለች። «እኔን አያውቁኝም፤ ግን አስበውኛል።»

ገበሬዋ በደረት ኪሷ ያለው ወረቀት የከበዳት መሰላት። ሽንፈትን ቶሎ የምትቀበል ልጅ ስላልሆነች ግን ቀለሙ አልበዛም ወይ ብላ ጠየቀች። አክስቷ ኪቦርዱ ላይ አንዲት ቁልፍ ተጫነች። በአንድ ጊዜ ስክሪኑ ተለወጠና የድሮው ሥዕል ከች አለ። ቁልፏ አዲሱንና አሮጌውን የምታፈራርቅ ናት።

ሜዳው ጭቃ መስሏል። ገበሬዎቹ ፊት የላቸውም፤ የክብሪት እንጨት ናቸው። ማሳው ቡናማ አራት ማዕዘን ነው፤ ስንዴ ነው ብሎ የነገራት ሰው ባይኖር ምንጣፍ ይመስላት ነበር። እሷ የምታስታውሰው አረንጓዴ ሜዳ፣ ነፋስ የሚያወዛውዘው ስንዴ፣ ውሃው የሚያብለጨልጭ ወንዝ እዚህ ውስጥ አልነበረም። አክስቷ ቁልፏን ደግማ ስትጫን ሁሉም ተመልሶ መጣ። ያደሱት ሰዎች የሠሩት ለካ እሷ በልጅነቷ ያየችውን ነው።

«ያኔም እንዲህ ይታየኝ ነበር» አለች ቀስ ብላ።

«ለእኔም» አለች አክስቷ።

ጨዋታው ቀጠለ። አክስቷ ወንዙ ጋ ከጠላት ጋር ተያያዘች። በግራ ጥግ ያለው ማሳ ቢጫ ሆነ፣ ሳሳ፣ አለቀ። ገበሬው እጁን አጣጥፎ ቆመ። አንዲት ቃል የገበሬዋ ምላስ ጫፍ ላይ መጣችና አፈረችባት፤ አስራ አራት ዓመት የሞላት ሰው እንዲያ አይልም። ሁለተኛውም ማሳ አለቀ። አክስቷ አላየችም።

«አክስቴ፣ ሴቲንጉ ውስጥ እኮ ማሳው ራሱን እንዲዘራ የሚያደርግ አለ። ሳታዪው ቀርተሽ ነው መሰለኝ።»

«አይቼዋለሁ» አለች አክስቷ ዓይኗን ከወንዙ ሳትነቅል። «አጥፍቼው ነው።»

«ለምን?»

«እሱ ከበራ አንቺ ምን ልትሠሪ ነው?»

ነገሩን እንደ ቀላል ነገር ነው የተናገረችው። ወዲያው እህሉ አለቀ፣ ጦሩ ስንቅ አጣ፣ ጠላት ድልድዩን ተሻግሮ መንደሩን አቃጠለው። አክስቷ ሳቀችና፣ ብቻዋን ስትጫወት ሁልጊዜ የምትሸነፈው በረሃብ እንደሆነ ነገረቻት። ቅሬታ የለበትም፤ ስለ አየር ጠባይ የምታወራ ነበር የምትመስለው።

ያኔ ገበሬዋ አንድ ነገር ገባት። ያቺን ምልክት የጠላቻት ሥራዋን ስለነጠቀቻት ነው። ሥራውን ጥላ የሄደችው ግን ራሷ ናት፤ አክስቷ ወንበሯን ለሌላ ሳትሰጥ ጠብቃታለች። «በድሮው ጌም ሁሉንም በራስ እጅ ነበር የምንሠራው» ብላ የጻፈችውም ውሸት ነው። በድሮውም ጌም ማሳውን የሚያስዘራ ነገር ነበረ፤ እሷ ነበረች።

ቤቷ ገብታ ወረቀቱን ዘረጋችው። ግድያ የሚለውን ቃል ስታየው ሳቅም እፍረትም መጣባት።

በማግስቱ ጠበቃው አዲሱን ጽሑፍ አንብቦ ሲጨርስ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ግድያው የት ሄደ? ሙድ እየያዝሽብኝ ነው?»

«የተጫወትኩት የአጎትህ ልጅ ሻወር እስኪወስድ ነበር። በዚያ ላይ ተመሥርቼ ሰው ገዳይ ልበል?»

«ታዲያ ሁሉም እንዲያ አይደል የሚያወራው! ለስንቱ ነግሬያለሁ መሰለሽ። አሁን ስለ አክስትሽ መነጽር ልናወራ ነው?» ማይክሮፎኑን በእጁ ሸፈነው። «ወይ የትናንቱን አንብቢ፣ ወይ ዘፈን እለቃለሁ።»

ገበሬዋ ወረቀቷን አጠፈች። ሳምንታት የለመነችው ማይክሮፎን ከፊቷ አለ፤ እጇን ብትዘረጋ ትደርስበታለች።

«ዘፈን ልቀቅ» አለችው። «የትናንቱን ግን አላነብም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።»

ጠበቃው አፈጠጠባት። ሲከራከሩት ያውቅበታል፤ ሳይከራከሩት ሲቀሩ ግን ግራ ይገባዋል። ደወሉ ተደወለ። ዘፈን ፈልጎ አላዘጋጀም ነበር፤ ግቢው ደግሞ ተማሪ መሙላት ጀመረ። አጉተመተመና ማይክሮፎኑን ገፋላት።

«እኔ በዚህ ጌም ውስጥ ገበሬ ነበርኩ» ብላ ጀመረች። ድምፅዋ ከግቢው ማዶ ተመልሶ ሲመጣ ደንገጥ አለች፤ ቀጠለች። ስለ ፊደሉ አወራች፣ ሥዕሉን ስለምታፈራርቀው ቁልፍ፣ ዓይኑ ለደከመና እጁ ለዘገየ ሰው ስለታሰበው ነገር። የማታውቃቸውን አዳሾች አመሰገነች። ያልወደደችውንም አልደበቀችም፤ ድሮ ገበሬው ሲታዘዝ «ህም» ብሎ ነበር የሚሄደው፣ አሁን እንደ ባንክ ሠራተኛ በትሕትና ይመልሳል፤ ይህን ይቅር አልልም አለች። ራሱን የሚዘራው ማሳም ብቻውን ለሚጫወት ሰው መልካም ነው፣ ጎኑ ሰው ላለው ግን ያጥፋው ብላ ጨረሰች።

ግቢው አልተናወጠም። ከፊሉ ኳሱን ቀጠለ፣ ከፊሉ ስለ ባንክ ሠራተኛው ሳቀ። ጠበቃው «አላልኩሽም?» ሊል ሲዘጋጅ በሩ ተንኳኳና የሒሳብ መምህሩ አንገታቸውን አስገቡ። መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ ነው።

«ያ ፊደል የሚያጎላው ነገር» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የት ጋ ነው ያልሽው?»

ጠበቃው መምህሩ እስኪወጡ ጠብቆ፣ በሚቀጥለው ሳምንትም ሰዓት እንዳላት ነገራት። አሁኑኑ ቁጭ ብለው እንዲያቅዱም ፈለገ። እሷ ግን ከትምህርት በኋላ ሥራ አለብኝ አለችው።

አክስቷ ከስምሪት ተመልሳ ጫማዋን አውልቃለች። በሩ ክፍት ነው። ገበሬዋ ሳትጠራ ገባችና ከጠረጴዛው ሥር፣ በልጅነቷ የምትቀመጥባትን ዝቅ ያለች መቀመጫ ስባ አወጣች። ጉልበቷ አገጯን ሊነካ ምንም አልቀረው፤ ቢሆንም ተቀመጠችባት። ወንዙ ጋ ውጊያ ሊጀመር ነው።

በግራ ጥግ ስንዴው ቢጫ ሆነ፣ ሳሳ፣ አለቀ።

«እርሻ» አለች።

የአክስቷ እጅ፣ ዓይኗ ወንዙ ላይ እንዳለ፣ ሄዶ ዘራ።