የአንቺን ቦይ ረሳሁት

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሲሆን የመልካ ብርሃን ባቡሮች ባሉበት ይቆማሉ። በሁለት ጣቢያ መካከል ቢሆኑም ይቆማሉ። ሐኪሙ መርፌውን ያስቀምጣል፣ የተጣሉ ባልና ሚስት ጠባቸውን ለአንድ ሰዓት ያቆዩታል፣ በየቤቱ ያለው ግድግዳም በራሱ ጊዜ ይበራና «የእነ ትርሲት ቤት» ይጀምራል። ድራማው ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖታልና ማንም አይገረምም። ከተማዋ በአዋሽ ሸለቆ፣ ሙቀቱን በሚከላከል አንድ ትልቅ ጣሪያ ሥር የተሠራች ናት። ፀሐይ ሳያይ የሚውል ሰው ሞልቷል፤ ትርሲትን ሳያይ የሚያድር ግን የለም ማለት ይቻላል።

ድራማውን የሚጽፈው ሰው አይደለም። «ተራኪ» የሚባል ማሽን ነው። ተራኪ በየግድግዳው ውስጥ ጆሮ አለው፤ ሰው ቤቱ ሲጣላ፣ ሲታረቅ፣ ሲያባብል ቀኑን ሙሉ ይሰማና ከዚያ ጥቂቱን ወስዶ የማታውን ክፍል ያቦካል። ይህን ከሰው አፍ የሚወሰድ ንግግር ሠራተኞቹ «እርሾ» ይሉታል። ስሙን ያወጣው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው እንደነበረ ግን ያስታውቃል።

ምንታምር ደምለው የእርሾ ክፍል ኃላፊ ናት። አርባ አራት ዓመቷ ነው፤ ሃያውን የጨረሰችው እዚሁ መሥሪያ ቤት ነው። አንድ ማክሰኞ ጧት ቢሮዋ ስትገባ የእርሾው መለኪያ ባዶ ሊሆን ጥቂት ቀርቶት አገኘችው። ተበላሽቶ ይሆናል ብላ በጣቷ መታ መታ አደረገችው። መለኪያው ደህና ነበር።

«ምን ሆኖ ነው?» አለ አለቃዋ ልዑልሰገድ፣ ከኋላዋ መጥቶ።

«ሰው አዲስ ነገር አልተናገረም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አሥራ አንድ ቀን ሆነው። ከተማው ሁሉ የሚናገረው የትርሲትን ነው። ተራኪ ደግሞ ያንኑ መልሶ ይሰማል፣ ያንኑ መልሶ ይጽፋል። ራሱን እየበላ ነው አቶ ልዑልሰገድ።»

ልዑልሰገድ አሰበ። እውነትም የትርሲት ባል፣ ሊፍት ጠጋኙ ፍስሐ፣ አሥራ አንድ ምሽት ሙሉ ያንኑ አበባ ይዞ እየገባ ያንኑ ይቅርታ ሲጠይቅ ነበር።

«ታዲያ አንድም ሰው ቅሬታ አላቀረበም?»

«ኧረ የተመልካቹ ቁጥር ጨምሯል» አለች ምንታምር።

በማጠራቀሚያው የቀረው እርሾ ለሦስት ቀን ብቻ ይበቃል። ከዚያ ግድግዳው ይጠቁራል። ከዘጠኝ ዓመት በፊት አንድ ጊዜ ለአንድ ሰዓት ጠቁሮ ያውቃል። የዚያን ዕለት ሰው ከነቤተሰቡ ጥቁሩ ግድግዳ ፊት ቁጭ ብሎ ቀረ። የአደጋ ጊዜ ስልኮች አራት ሺህ ጊዜ ጮኹ፤ የአብዛኛው ደዋይ ጥያቄም አንድ ነበር፦ «ለሚስቴ ምን ልበላት?»

«ውጪና ፈልጊ» አላት ልዑልሰገድ። «አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃናል። አንድ፣ ከእኛ ያልተወሰደ።»

ምንታምር «ቀማሽ»ዋን ኪሷ ከተተችና ወጣች። ቀማሽ የክብሪት ቀፎ የምታክል መሣሪያ ናት፤ የእርሾ ክፍል ሠራተኛ ሁሉ አለችው። በአካባቢዋ ሰው የሚናገረውን ትሰማለች። ንግግሩ ከድራማው የመጣ ከሆነ ቀይ ታበራለች፣ ማንም ያልተናገረው ከሆነ አረንጓዴ። ምንታምር አረንጓዴውን ካየች ሁለት ዓመት አልፏታል።

ገበያ ገባች፤ ቀይ። ሆስፒታል ሄደች፤ ቀይ። አንድ የመኖሪያ ሕንፃ ግቢ ውስጥ ሦስት ሽማግሌዎች ባልና ሚስት ሲያስታርቁ ደረሰችና ጥግ ይዛ ቆመች። የሽማግሌ ዕርቅ ላይ እንኳ አንድ ነገር አይጠፋም ብላ ነበር። ባልየው ልክ እንደ ፍስሐ ጉልበቱን ሦስት ጊዜ መታ።

«ያለ አንቺ ቤቱ አራት ግድግዳ ብቻ ነው» አለ።

«አራቱንም ግድግዳ እኔ ነኝ የማቆመው» አለች ሚስትየው፣ ልክ እንደ ትርሲት።

ትልቁ ሽማግሌ በእርካታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይኸው! ክፍል ስምንት ሺህ ላይም የታረቁት እንዲህ ብለው ነው።»

ቀማሽዋ ቀይ በቀይ ሆነች። ሴትየዋ ግን እውነተኛ እንባ ነበር የምታለቅሰው። ምንታምር ቀናችባት። የእሷ አባት የተውሶ ይቅርታ እንኳ ጠይቀዋት አያውቁም።

አባቷ አቶ ደምለው ከጣሪያው ውጭ፣ ከድሮው እርሻ ዳር ይኖሩ ነበር። በደኅናው ዘመን የውኃ አባት ነበሩ፤ የመስኖውን ውኃ ለየገበሬው ማሳ በተራ የሚያድለው ሰው የሚጠራው እንዲህ ነው። የማን ተራ መቼ እንደሆነ በቃላቸው ያውቃሉ፣ አንድም ቀን አዛብተው አያውቁም። ምንታምር ስትመረቅ አልመጡም፤ የሰው ተራ ነበር። ስታገባም አልመጡም፤ የሌላ ሰው ተራ ነበር። ትዳሩም ፈረሰ፣ ያኔም አልመጡም። «የእነ ትርሲት ቤት» መሥሪያ ቤት መግባቷን ሲሰሙ የቤታቸውን ግድግዳ ኖራ ቀቡት፤ ኖራ የተቀባ ግድግዳ አያይም፣ አይሰማም። ከዚያ ወዲህ ሃያ ዓመት የሁለቱ ወግ ከእግዜር ሰላምታ አላለፈም። ምንታምር በየሳምንቱ መድኃኒት ታደርሳለች፣ ግማሽ ሰዓት ትቀመጣለች፣ ትሄዳለች። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አባቷ አንድ ቀን፣ በአንድ ቃል እንኳ፣ እንደጎደሉባት አውቀው እንዲነግሯት።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድም አዲስ ቃል ሳታገኝ መድኃኒቱን ለማድረስ ሄደች። ከጣሪያው ውጭ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ቦዮቹ ደርቀው ሣር በቅሎባቸዋል። አቶ ደምለው ተኝተው ነበር፤ ደረታቸው እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ ይላል። ውኃ በኩባያ ሰጠቻቸው። ግማሹን ጠጡና ኩባያውን ይዘው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«ምንታምር» አሉ።

«አቤት አባዬ።»

«ለሰው ሁሉ ውኃ ስለቅ ኖሬ፣ የአንቺን ቦይ ረሳሁት።»

ምንታምር እጃቸውን ልትይዝ ጎንበስ ስትል፣ በቀሚሷ ኪስ ጨርቅ ውስጥ አረንጓዴ መብራት በራ።

በዚያች ቅጽበት ደስ አላት። ያስደሰታት የቱ እንደሆነ ግን፣ ቃሉ ይሁን መብራቱ፣ ያን ጊዜም በኋላም ለይታ ማወቅ አልቻለችም።

ቢሮ ስትደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ነበር። ልዑልሰገድ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። ቀማሽዋን ተራኪ ላይ ስትሰካው ሰሌዳው እንደ ደንቡ ጠየቃት፦ «የተናጋሪው ማንነት ይደምሰስ?» ደንቡ የወጣው የሰው ገመና እንዳይወጣ ነው፤ እርሾ ስም የለውም። የአባቷን ስም ለማዳን ብላ፣ በገዛ ጣቷ «ይደምሰስ» የሚለውን ነካች። ደግሞስ አንድ ዓረፍተ ነገር ምን ይሆናል ብላ ነው? እሷ ሰምታዋለች። ከእሷ የሚወስድባት የለም።

የዚያኑ ምሽት ሊፍት ጠጋኙ ፍስሐ አበባውን ጥሎ ትርሲት እግር ሥር ተንበረከከና «ለሰው ሁሉ ውኃ ስለቅ ኖሬ፣ የአንቺን ቦይ ረሳሁት» አላት። ከተማው አለቀሰ። በማግሥቱ የባቡር ጣቢያው ድምፅ ማጉያ ለዘገየው ባቡር «የእናንተን ቦይ ረሳን» ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። በሳምንቱ ቃሉ ሸሚዝ ላይ ነበር፣ ዘፈን ውስጥ ነበር፣ የሳሙና ማስታወቂያ ላይ ነበር። ቦይ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው በከተማው ውስጥ መቶ አይሞላም። አንዳንዱ የአንገት ጌጥ ይመስለው ነበር።

ሐኪሙ አቶ ደምለው ብቻቸውን መኖር እንደማይችሉ ሲናገር ምንታምር ወደ ቤቷ አመጣቻቸው። የክፍላቸውን ግድግዳ በወፍራም ብርድ ልብስ ሸፈነች፣ ምሽት ምሽት በሩን ዘጋች። ያልዘጋችው ሲስተር እናኑን ነው። ሲስተር እናኑ መርፌ ልትወጋቸው በየቀኑ የምትመጣ ደግ ነርስ ናት። አንድ ጧት የሳል ሽሮፑን ረስታ መጣችና ግንባሯን መታ አድርጋ ሳቀች።

«ውይ አባባ፣ ይቅርታ! የእርስዎን ቦይ ረሳሁት!»

አቶ ደምለው ነርሷን አላዩም። ያዩት ልጃቸውን ነው። ምንታምር ትራሱን ታስተካክል ነበር፤ እጇ እዚያው ላይ ቀረ።

«ያን ዕለት ስናገር» አሉ አቶ ደምለው ቀስ ብለው፣ «ሰማሽኝ ወይስ ቀዳሽኝ?»

ምን ትበል? ሥራዬ ነው ልትል አሰበች፣ ከተማው ሊጨልም ነበር ልትል አሰበች፣ ስምህን አስደምስሻለሁ ልትል አሰበች፤ ሁሉም እውነት ነበር፣ አንዱም ግን ለአባት የሚነገር አይደለም። አቶ ደምለው ፊታቸውን ወደ ብርድ ልብሱ አዞሩ። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ቀን ኖሩ፣ ለማንም አንድ ቃል ሳይናገሩ አረፉ።

በቀብሩ ማግሥት ምንታምር ጥቁሯን እንደለበሰች ቢሮ ሄዳ ተራኪን ጠየቀችው፦ «ይህን ቃል መጀመሪያ የተናገረው ማን ነው?»

ተራኪ ዋሽቶ አያውቅም፤ ያለውን ነው የሚናገረው። «ፍስሐ። ሊፍት ጠጋኝ» አላት።

በሠልስቱ ድንኳኑ ሞላ። ጎረቤቱ ሁሉ ደግ ነበር፣ ተራ በተራ እየመጣ ትርሲት ሰው ስታጽናና የምትለውን ይላታል። ልዑልሰገድም ጥቁር ኮት ለብሶ መጥቶ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። ምንታምር መሸከም አቃታትና ተነሣች፤ ስለ አባቷ ልትናገር።

«አባቴ ብዙ አልተናገረም» አለች። «አንድ ቀን ብቻ፣ ለሰው ሁሉ ውኃ ስለቅ ኖሬ የአንቺን ቦይ ረሳሁት አለኝ።»

ድንኳኑ ውስጥ የርኅራኄ ድምፅ ተሰማ። አንዳንዱ ፈገግ አለ፣ በፍቅር። የታችኛው ፎቅ ጎረቤቷ ወይዘሮ ባፈና ደረታቸውን ይዘው «ለካ እሳቸውም ይከታተሉ ነበር!» አሉ። «ነፍሳቸውን ይማር፣ የእኛው ሰው ነበሩ ለካ!»

«አይደለም! ድራማውን አይቶ አያውቅም! ግድግዳውን ኖራ የቀባ ሰው ነው! ቃሉ የእሱ ነው፣ የውኃ አባት ነበር! ፍስሐ ሊፍት ጠጋኝ ነው፣ ስለ ቦይ ምን ያውቃል?»

«አይዞሽ» አለች ሲስተር እናኑ ትከሻዋን እያቀፈች። «ሐዘን ያደናግራል። እኔ ራሴ ፍስሐ ሲለው ሰምቻለሁ እኮ፣ እህቴ።»

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። የሚዋሽ አልነበረም፣ ሊያስቀይማት የፈለገም አልነበረም። ምንታምር አንድ በአንድ አየቻቸው። አባቷን የሰረቀችው ለእነዚህ ሰዎች ነው፤ የተሰረቁትም አባቷ ናቸው፣ አሁን ደግሞ ሌባ የተባሉት እሳቸው። የሚመሰክርላት ቢኖር ተራኪ ነበር፤ የእሱንም አፍ የዘጋችው በገዛ ጣቷ ነው። ያን ጊዜ የአባቷ ጥያቄ ትዝ አላት፣ መልስ ሳያገኝ የቀረው። ከሲስተር እናኑ እቅፍ ወጥታ፣ የአቶ ደምለው ፎቶግራፍ ፊት በጉልበቷ ወደቀች።

«አባዬ» አለች፤ ድምፅዋ ማንንም አይመስልም ነበር፣ «አልሰማሁህም። ቀዳሁህ።»

ለዚህ የሚመለስ ቃል ማንም አልነበረውም፤ ትርሲት እንዲህ ብላ አታውቅም። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ወይዘሮ ባፈና ብቻ፣ ምክንያቱን ሳያውቁት፣ በሕይወታቸው አልቅሰው በማያውቁት አለቃቀስ ማልቀስ ጀመሩ።

ምንታምር ቀና አለች። የእሷ ቀማሽ እቤት፣ መሳቢያ ውስጥ ነበረች። ፊት ለፊቷ ግን፣ በልዑልሰገድ ኮት ኪስ ውስጥ፣ በጥቁሩ ጨርቅ በኩል አረንጓዴ መብራት ይታያል። ልዑልሰገድ እያየችው መሆኑን አወቀ። አንገቱን እንደ ሐዘንተኛ ደፋና እጁን ቀስ አድርጎ ወደ ኪሱ ሰደደ።