ከግንዱ ማዶ

ታኅሣሥ ገብቶ መንገዱ ሲደርቅ አንዳርጌ ባሕር ዛፍ ይቆርጣል። የካርቶን ፋብሪካው አይሱዙ እስከ ገደሉ አፋፍ የሚደርሰው በዚህ ወራት ብቻ ስለሆነ፣ ብርዱን ችሎ ጎሕ ሲቀድ ይወጣል፤ ይጥላል፣ ይቆራርጣል፣ ቅርፊቱን ይልጣል፣ ይከምራል። ሥራው ወሬ አይፈልግም። እሱም ወሬ አያበዛም።

መጋዙ ረጅም ነው፤ በሁለቱም ጫፍ የእንጨት እጀታ አለው። አንዱ ሰው ወዲህ ይቆማል፣ አንዱ ወዲያ፣ ግንዱ በመካከላቸው። ሕጉ መሳብ እንጂ መግፋት የለም ነው። አንተ ስትስብ ያኛው ይለቅልሃል፤ ያኛው ሲስብ አንተ ትለቅለታለህ። ከገፋህ ስለቱ ይጎብጣል።

የማዶውን እጀታ ይይዝ የነበረው ልጁ ድልነሳው ነው። አምና በዚሁ ወር ከገደሉ የተነሣ ነፋስ የሚወድቀውን ዛፍ አዞረና ድልነሳው ላይ ጣለው። እናቱ አስካለ ከቀብር ከተመለሰች ወዲህ ከግቢዋ አልወጣችም። ጥቁሯን አላወለቀችም፤ ሰው ሲያጽናናት ቀና ብላ አታይም። የምትለው አንድ ነገር ነው፦

«አንዴ ባየው። አንዴ ብቻ።»

አንዳርጌ ይህን ሲሰማ ውጭ ወጥቶ ይቀመጣል። የሚሰጣት ነገር የለውም።

ዘንድሮ ብቻውን ወጣ። ጎረቤት ልምጣልህ ቢለውም እንቢ አለ፤ በልጁ ቦታ ሌላ ሰው ቆሞ ማየት አልፈለገም። መጀመሪያ ቀጫጭኑን በመጥረቢያ ጣለ። ቀጫጭኑ ሲያልቅ ግን አባቱ የተከሏቸው፣ የአንድ ሰው እቅፍ የማይበቃቸው ወፍራሞቹ ዛፎች ቀሩ። ጉም ከገደሉ ወጥቶ በግንዶቹ መካከል ተኝቷል፤ ሣሩ አመዳይ ለብሶ እንደ ጨው ነጥቷል፤ ወፍ እንኳ አትጮኽም። አንዳርጌ በመጥረቢያ፣ በሚወድቅበት በኩል፣ የአንደኛውን ዛፍ አፍ ከከፈተ በኋላ፣ ቢጎብጥም ይጉበጥ ብሎ መጋዙን ከበስተኋላው አስገባና ሳበ። ሊገፋ እጁን ሲያበረታ መጋዙ በራሱ ሄደ።

ቆመ። ደግሞ ሳበ። መጋዙ መጣለት፤ ለቀቀው፤ ሄደ።

እጀታውን ትቶ ግንዱን ዞረ። ማንም የለም። በማዶ በኩል ያለው ሣር አልተረገጠም፤ አመዳዩ እንዳለ ነው። የማዶው እጀታም ዙሪያውን ነጭ አመዳይ ይዞታል፤ የአንድ ጣት ምልክት አልነበረበትም። ከዚያ ወደ ቦታው ተመለሰና ያዘ፤ ማዶው ሳበው። እንባው ጢሙ ላይ ረጋ።

«ድልነሳው፣» አለ።

ለማንም አልተናገረም። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ጉሙ ሳይነሣ ይደርስ ጀመር። ልጁን ማየት ግን አልቻለም። መጋዙ በሚሄድበት ጊዜ እሱ ከጫፉ መለየት አይችልም፣ ግንዱም ይጋርደዋል፤ ለቅቆ ሲዞር ሁሉም ነገር ባዶ ነው። እየቆየ ዞሮ ማየቱን ተወው። መጋዙ ሲሄድና ሲመጣ የሚያሰማውን ያንን እንቅልፍ የሚያመጣ ድምፅ መስማት በቃው። እዚያ ማዶ የሚስበው እጅ እስካለ ድረስ ልጁ አልሞተም ማለት ነበር።

አይሱዙው ሲመጣ ሾፌሩ ሽመክት ክምሩን ዞሮ ዞሮ አየ።

«አባባ፣ ማንን ቀጠሩ?»

«ማንንም።»

«ይተዉ እንጂ! ይሄን ሁሉ ብቻዎን? ወይ ጋኔን ቀጥረዋል፣ ወይ ሁለተኛ ሚስት አግብተዋል።»

ጫኞቹ ሳቁ። አንደኛው ግንዱን ትከሻው ላይ ሊያወጣ ሲል ጫፉን አሸተተና ፊቱን አኮማተረ። «ይሄ ባሕር ዛፍ ነው? ምነው አፈር አፈር ሸተተኝ?»

«አንተ አፍንጫህ ከእርሻ መች ወጣ! ጫን!» አለው ሽመክት።

መኪናው ሲሄድ አንዳርጌ ወደ ጉቶዎቹ ተመልሶ ተንበረከከ። ሽታውን ሳያውቀው አልቀረም፤ ልብ ብሎት ግን አያውቅም። በእሱ በኩል የወደቀው ሰጋቱራ ደረቅና ቢጫ ነው፤ እንደ ሁልጊዜው አፍንጫ የሚከፍት የባሕር ዛፍ ሽታ አለው። ከማዶ በኩል ያለው ግን ጠቁሯል፣ ርሷል፤ ጥልቅ ጉድጓድ ሲቆፈር ከታች የሚወጣውን፣ ፀሐይ ነክቶት የማያውቀውን አፈር ይሸታል። የመቃብር ነዋ፣ አለ በልቡ። ልጄ የመጣው ከየት ሆነና።

ድልነሳው በሕይወት ሳለ ቶሎ ይደክመው ነበር። መዳፉ ላይ እንትፍ ለማለት ያቆማል፣ «እፎይ አባዬ» ይላል፣ ይቀልዳል። አሁን ማዶ ያለው አያርፍም። አንዳርጌ ክንዱ ዝሎ ቆም ሲል መጋዙ ተወጥሮ ይጠብቀዋል፤ ሲቆይበት ደግሞ ጠቅ እያደረገ ይስበዋል። የሞተ አይደክመው፣ እያለ ራሱን አጽናና። ስቡ ግን ከቀን ወደ ቀን በረታ። አንዳንዴ እግሩ ከቆመበት እየተንሸራተተ ወደ ግንዱ ይጠጋል፤ የጣቶቹ አንጓ ቅርፊቱን እየነካ ይላጣል።

አንድ ቀን ጉሙ ከወትሮው ከብዶ፣ የራሱ እግር እንኳ ደብዝዞበት ሳለ፣ ድምፁን ቢሰማ ብሎ ተጣራ።

«ድልነሳው!»

መጋዙ ቆመ። ከግንዱ ማዶ፣ ከሰው አፍ ቁመት ዝቅ ብሎ፣ ከሥሩ አካባቢ፣ ቀስ ያለ ድምፅ መለሰ።

«ወይ።»

ድልነሳው አባቱ ሲጠራው «አቤት» ብሎ ነው የሚመልሰው። ገና አፉን ከፈታ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ «ወይ» ብሎት አያውቅም። ታላቅ ለታናሹ፣ ጌታ ለሎሌው የሚመልሰውን «ወይ» ከማን ተማረ? አንዳርጌ ያን ቀን በጊዜ ወደ ቤቱ ገባ። ምድጃው ዳር ተቀምጦ ብዙ አሰበና፣ ሞት ያልወሰደበት ነገር የለም፣ ወጉንም ወስዶበት ይሆናል አለ። ልቡ የፈለገውን አመነ።

አስካለ ጥግ ላይ ኩርምት ብላለች። እሱ ከጫፉ መለየት ባይችልም፣ ሌላ ሰው ከጎን ቢቆም ሁለቱንም ወገን እንደሚያይ ያኔ ታየው።

«አስካለ፣ ነገ ከእኔ ጋር ነይ።»

«ወዴት?»

«ልጅሽን ላሳይሽ።»

አብዷል ብላ አልጮኸችም። ሲነጋ ነጠላዋን አጣፍታ ከኋላው ተከተለችው፤ ከግቢዋ ከወጣች ዓመት ሆኗት ነበር፤ እግሯ መንገዱን የረሳ ይመስል ነበር።

ወፍራም ከሆኑት ዛፎች የቀረው አንድ ነው። አንዳርጌ ከግንዱ ራቅ ብላ በጎን እንድትቆም አደረጋት፤ ሁለቱንም እጀታ እንድታይ። አፉን በመጥረቢያ ከፈተ፣ መጋዙን አስገባ፣ ሳበ። ማዶው ወዲያው ተቀበለው። ሰጋቱራው በሁለቱም በኩል መፍሰስ ጀመረ፤ የታችኛው አፈር ሽታ ጉሙን ሞላው። ስቡ እንደዚያ በርትቶ አያውቅም። እያንዳንዱ ምልልስ ክንዱን ከትከሻው የሚነቅል ነበር። ደረቱ ግንዱን ሊነካ ምንም አልቀረውም። እጀታውን መልቀቅ አሰበ፤ ጣቶቹ አልተፈቱለትም።

«አየሽው?» አለ እያለከለከ።

አንገቱን አዙሮ አያት። እጇን አፏ ላይ ጭናለች፤ እንባዋ ይወርዳል፤ ከዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ላይ እናትነቷ ተመልሷል።

«አየሽው ወይ አስካለ?»

«አየሁት። ልጄ። ያው ራሱ ነው።»

አንዳርጌ በደስታ ዓይኑን ጨፈነ። መጋዙ ሳበው፤ ጉንጩ ቀዝቃዛውን ቅርፊት ነካ።

«አልከሳም? ምን ይላል? ደህና አድርጎ ይስባል አይደል?»

አስካለ ወደ ማዶው እጀታ አልተመለከተችም፤ ዓይኗ ባልዋ ላይ ነበር፤ ልጅ እንደምታባብል እናት ዝግ ብላ መለሰችለት፦ «እሱማ ከኋላህ ነው አያ አንዳርጌ፤ ወደዚያኛው እንዳትሄድበት ወገብህን በሁለት እጁ አቅፎ እየጎተተህ ያለቅሳል።»