ባሂራ ያየችው እሳት

ባሂራ የቡታጅራ ልጅ ናት። አባቷ ሰይዶ መስቃን ገጠር ውስጥ በርበሬ ያመርታል። እሷ ግን ከወልቂጤ ወጣ ብሎ በጊቤ ወንዝ ዳር በተከለለው ፓርክ በጠባቂነት ተቀጠረች። ሥራዋ በእግርና በሞተር እየዞረች ጉማሬውን፣ ድኩላውን፣ በወንዙ ዳር ዛፎች ላይ የሚኖረውን ጉሬዛ ከአዳኝ፣ ከከሰል አክሳይና ከእሳት መጠበቅ ነበር። እናቷ «ሴት ልጅን ከአውሬ ጋር ምን አገናኛት?» እያለች ብዙ ጊዜ አኩርፋታለች።

ከሙሀይሚን ጋር ያስተዋወቃት የሞተር ብልሽት ነው። እሱ ወልቂጤ መናኸሪያ አጠገብ ሞተር ይጠግናል። አቧራ ለብሳ፣ ሞተሯን እየገፋች ስትደርስ ቀና ብሎ አያትና ሳቁን ዋጠ።

«ምን ያስቅሃል?»

«ወላሂ አልሳቅኩም። ሞተሩ አንቺን አመጣሽ ወይስ አንቺ ሞተሩን?»

«ይልቅ ሥራህን ሥራ።»

ካርቡሬተሩን ፈትቶ እያጠበ ስለ ሥራዋ ጠየቃት። ስለ ጉሬዛ ነገረችው። ግልገሏ ነጭ ሆኖ እንደሚወለድ፣ ሌሎቹ እንስት ጉሬዛዎች እየተቀባበሉ እንደሚያቅፉት። ስታወራ እጆቿም ያወራሉ። ሙሀይሚን ካርቡሬተሩን ረስቶ እጆቿን ያይ ነበር።

«እኔ እኮ ያደግኩት ፓርኩ ጥግ ነው» አለ በመጨረሻ። «ይሄን ግን ገና ዛሬ ሰማሁ።»

ከዚያ በኋላ ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ መልስ ወደ ወንዙ ይወርድ ጀመር። ድንጋይ ላይ ተራርቀው ተቀምጠው ዛፎቹን ያያሉ። ብዙ አያወሩም። እሱ ዞር ብሎ ሲያያት እሷ ታውቃለች፤ እንዳላወቀች ትሆናለች። ዓመት ሳይሞላ ረመዳን እንዳለፈ ሽማግሌ ሊልክ ተስማሙ።

በጋው መሃል ግን እሳት ተነሳ።

በፓርኩ ዳር ያሉ ከብት አርቢዎች አዲስ ሣር እንዲበቅል ደረቁን ያቃጥላሉ። ክልክል ነው፤ ተደብቀው ግን ያደርጉታል። የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ባሂራ ከኮረብታው ላይ ሆና አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ክብሪት ሲጭር አየች። ጀማሉ ነበር፣ የሙሀይሚን ታላቅ ወንድም። ጮኸች፤ አልሰማትም። ነፋሱ ዞረና እሳቱ ወደ ወንዙ ዳር ዛፎች ሮጠ። ባልደረቦቿን በስልክ ጠርታ ስትወርድ ጀማሉ ቅርንጫፍ ቆርጦ እሳቱን ይደበድብ ነበር። ሰው ሲመጣ ሸሸ።

ሲመሽ እሳቱ ጠፋ። ከተቃጠሉት ዛፎች ሥር የሞቱ ጉሬዛዎች ተገኙ። አንዷ ነጭ ልጇን ሆዷ ላይ እንዳቀፈች ነበረች። ባሂራ አፈር አልብሳ ቀበረቻቸው።

ጀማሉን ከእሷ ሌላ ያየው ሰው የለም፤ እሱም እንዳየችው አውቋል። በማግስቱ ሙሀይሚን ከአባቱ ከሸምሶ ጋር መጣ።

«ልጄ» አሏት ሸምሶ፣ «ይሄ ነገ የምትገቢበት ቤት ነው። ጭስ አየሁ በይ፤ ሰው አላየሁም በይ። በቃ።»

«አባባ፣ አይቻለሁ እኮ።»

ወደ ሙሀይሚን ዞረች። «አንተስ ምን ትላለህ?»

ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። «ወንድሜ ነው፣ ባሂራ» አለ።

ፍርድ ቤት ቀርባ ያየችውን ተናገረች። ዳኛው የምትጨምሪው አለ ወይ ሲሏት «አዎ» አለች። «ነፋሱ ሲዞር ወዲያው መሸሽ ይችል ነበር። አልሸሸም። ሊያጠፋው እሳቱ ውስጥ ገባ። እጁን እዩት።»

በፋሻ የተጠቀለሉ እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ የተቀመጠው ጀማሉ ቀና ብሎ አያት። ቅጣቱ ቀለለለት፤ ቢሆንም ታሰረ። ሸምሶ «ያቺ ልጅ ደጄን አትረግጥም» አሉ። ሙሀይሚን ደጋግሞ ደወለ፤ አላነሳችም። ሞተሯንም ሌላ ጋራዥ ማሠራት ጀመረች። እዚያ የምትሄደውም በመናኸሪያው ላለማለፍ መንገድ ዞራ ነበር።

ክረምት ገባ። አንድ ጠዋት ወደ ተቃጠለው ቦታ ስትወርድ ሙሀይሚን ጭቃ ውስጥ ቆሞ ከሠራተኞቹ ጋር ችግኝ ሲተክል አገኘችው።

«ማን ጠራህ?»

«ማንም። እንደምትተክሉ ሰምቼ ነው።» ዶማውን አስቀመጠ። «ያን ቀን አባቴን ፈራሁ። ልክ እንደሆንሽ እያወቅኩ ብቻሽን ተውኩሽ።»

ዝናቡ ፊታቸው ላይ ይወርድ ነበር። ባሂራ ጎንበስ ብላ የቆፈረውን አየች። ይቅርም አላለችው፣ አላባረረችውም።

«ጉድጓዱን ጠለቅ አድርገው» አለችው። «እንዲህ ከሆነ ጎርፍ ይወስደዋል።»

ክረምቱን ሙሉ መጣ። መስከረም ላይ፣ ቀን ያየችውን ሁሉ ለእሱ ልንገረው እያለች እንደምታስቀምጥ ልብ አለች። ያን ጊዜ ስልኩን አነሳችለት።

ጥቅምት ላይ ቡታጅራ ሽማግሌዎች መጡ። ሸምሶ አልነበሩበትም። መጨረሻ ላይ የገባው ከእስር የተፈታው ጀማሉ ነበር። ሰይዶ ደነገጠ።

«አንተ ነህ ልጄን የምትጠይቀኝ? አሳስራህ የለም?»

«አሳስራኛለች» አለ ጀማሉ። «ያቃጠልኩትንም ተናገረች፤ ላጠፋ የሞከርኩትንም ተናገረች። እኔ ለራሴ እንኳ ሁለቱን ባንዴ መናገር አልቻልኩም ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ለቤታችን ያስፈልጋል ብዬ ነው የመጣሁት።»

ሰይዶ ልጁን አስጠራት። ባሂራ «ሥራዬን አልለቅም» አለች። «ትለቂያለሽ ያለ የለም» አለ ጀማሉ። ኒካሁ በዚያው ወር ታሰረ።

ሸምሶ ኒካሁ ላይ ተገኙ፤ ግን አላነጋገሯትም። ከዚያም ወዲህ ስሟን ጠርተው አያውቁም፤ «ጠባቂዋ» ነው የሚሏት። በዚህ በጋ ጎረቤታቸው ደረቁን ሣር ሊያቃጥል ሲወርድ መንገድ ላይ ያገኙት እሳቸው ናቸው።

«ተመለስ» አሉት።

«ምነው ሸምሶ? አንተስ ስታቃጥል አልኖርክም?»

«ኖሬያለሁ። አሁን ግን ምራቴ እዚያ ናት።»