ድምፁ ቀድሞ የመጣበት ቀን

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲወራ ከሚስቁት ወገን ነኝ፣ ቡዳ በላው፣ ዛር ያዘው፣ ከገደሉ ሥር ሰው ጠራኝ ሲባል «ጆሮህን ታጠብ» ብዬ የማልፍ ሴት ነኝ፣ ደግሞም ምክንያት አለኝ፣ ሥራዬ ራሱ ሰው ማታለል ነው። መካነ ሰላም ውስጥ አንድ ፎቶና ቪዲዮ ቤት የሠርግ ቪዲዮ አቀናብራለሁ፣ ሙሽራዋ ያላለቀሰችበትን ቦታ ያለቀሰች አስመስላለሁ፣ እልልታው ከቀጠነ ከሌላ ሠርግ ቆርጬ እጨምርበታለሁ፣ እና እመኑኝ፣ ድምፅ እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው በድምፅ አይደነግጥም። ይህ የምነግራችሁ ነገር የሆነውም በሌሊት አይደለም፣ በሐምሌ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ምሳችንን በልተን ነው።

የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ጀማል ይባላል፣ ጥሩ ሰው ነው፣ ነበር ልበል እንጂ። ሠርግ መቅረጽ ሰልችቶት አስፈሪ ፊልም ካልሠራሁ ብሎ ተነሣ፣ ነጋ ጠባ ስልኩን ከፍቶ የፈረንጅ ፊልሞችን መግቢያ ያሳየኛል፣ መግቢያውን ብቻ፣ ቀሪውን አያየውም። «እዪ ትርንጎ፣ እስካሁን ምን አሳየሽ? የተዘጋ በር ብቻ። ካሜራውን መሬት ላይ አስተኝቶታል፣ አንቺም የተኛሽ፣ ተነሥተሽ መሮጥ የማትችዪ ይመስልሻል። አሁን ስሚ፣ አንዴ መታ፣ ሁለቴ መታ፣ ሦስተኛውን ስትጠብቂ ያዘገየዋል፣ ልብሽን እዚያ ላይ ጨምድዶ ይይዘዋል። ድምፁ ይቀድማል፣ ምስሉ ኋላ ይደርሳል። ወላሂ፣ ሰው የሚፈራው ያየውን አይደለም፣ ሰምቶ ገና ያላየውን ነው።»

የእኛም መግቢያ በዚሁ መልክ ታሰበ፣ ጨለም ያለ ቤት፣ የተዘጋ በር፣ ከበሩ ውጭ በምሳር የሚከተከት ነገር፣ ምን እንደሆነ ግን የማይታይ። ምሳር ያዡ ሞላ ሆነ፣ ታላቅ ወንድሜ ነው፣ አናጺ ነው፣ ትከሻው በር ይሞላል፣ ግን ለበዓል ዶሮ ማረድ ስለማይሆንለት እናታችን ጎረቤት የምታስጠራለት ሰው ነው። ለድምፁ መጀመሪያ ዱባ ሞከርን፣ ባዶ ባዶ አለብን፣ ጀማል የበግ ታፋ ከነአጥንቱ አመጣና በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለን ግንድ ላይ አጋደምነው። ሞላ ሲሰነዝር እኔ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ነበር፣ ምሳሩ መጀመሪያ ጆንያውን ይበላል፣ ቀጥሎ ሥጋው እርጥብ ድምፅ ያወጣል፣ መጨረሻ አጥንቱ ቀጭ ይላል፣ ጥርሴ ውስጥ ነው የተሰማኝ። ሳምንት ሙሉ ሥጋ አልቀመስኩም፣ ግን ድምፁን ከሌላው ሥጋ ከሚያወጣው ድምፅ ሁሉ ለይቼ አወቅሁት፣ ይሄን ልብ በሉልኝ።

ቤቱን ያገኘው ጀማል ነው፣ ወደ ከላላ በሚወስደው መንገድ ባጃጅ ከሚቆምበት ግማሽ ሰዓት በእግር፣ ገደል አፋፍ ላይ ያለ፣ ቆርቆሮው የዛገ፣ በሩ ወፍራም የዋንዛ ሳንቃ የሆነ ቤት። አንድ የከተማ ነጋዴ ገዝቶት እስካሁን አልገባበትም። «ለምን አልገባበትም?» ብዬ ጠየቅሁ። «ከተማ ተመችቶት ይሆናላ» አለኝ ጀማል፣ ካሜራውን እየፈታታ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ። ለመንደሩ ሰው ፊልም ልንሠራ ነው ብለን አልተናገርንም፣ ቁልፍ ይዘን ገባን፣ በቃ።

ጉሙ ከገደሉ ሥር ወጥቶ ግቢውን ሞልቶት ነበር፣ የቆምንበት ደጃፍ ላይ ያለችው ባሕር ዛፍ እንኳ አልፎ አልፎ ነው የምትታየው። ሞላ ውጭ ከግንዱ ጋር ቆመ፣ ጀማል ውስጥ በሆዱ ተኝቶ በሩን ይቀርጻል፣ እኔ ጓዳው አፍ ላይ መቅጃውን ታቅፌ ማዳመጫዬን ደፍቼ ተቀመጥሁ። የመጀመሪያው ቀረጻ ደህና ሄደ። ሁለተኛውን ጀመርን። ሞላ መታ፣ መታ፣ እንደተነገረው አዘገየ፣ መታ፣ አቆመ። ዝምታውን እየቀዳሁ ሳለ እርጥብ ሣር ላይ የሚሮጥ እግር ሰማሁ፣ ሩቅ ነበረ፣ ቀረበ፣ ቁና ቁና የሚተነፍስ ወንድ፣ ሽማግሌ፣ «ዛሬስ አልቀርም!» አለ፣ ወዲያው ዱላ ሥጋ ላይ አረፈ። የበግ ሥጋ አልነበረም፣ ነግሬያችኋለሁ፣ ያንን ለይቼ አውቀዋለሁ። ከዱላው ሥር የወንድሜ ድምፅ «እናቴን!» ብሎ ጮኸ፣ ሁለተኛው ሲያርፍ አጥንት ተሰበረ፣ ከዚያ ሌላም ነገር ተሰማኝና ማዳመጫውን ከራሴ ነቅዬ ወረወርሁት።

ዝም። ከጣሪያው ጠብ ጠብ የሚል ውኃ ብቻ። ጀማልን ተራምጄ በሩን በረገድሁት፣ ሞላ ምሳሩን ተደግፎ ቆሞ ላቡን በክንዱ ይጠርጋል።

«ምን ሆነሽ?» አለኝ።

«ማነው የመታህ?»

«ኧረ እኔ ነኝ መቺው!» ብሎ ሳቀ።

ጀማል ቀረጻው ስለተበላሸበት ተናደደ፣ የሰማሁትን ስነግራቸው ግን ንዴቱን ትቶ ደስ አለው። «እንግዲህ አንቺን ካስፈራ ተሳክቶልናል ማለት ነው፣ አብሽሪ፣ ጉም ድምፅ ያመጣል፣ ከማዶ እረኛ ይሆናል።» መቅጃውን መልሰን ሦስታችንም አዳመጥነው። የሞላ ምሳር አለ፣ የውኃው ጠብታ አለ፣ የእኔ ትንፋሽ አለ፣ ሌላ ምንም የለም። እኔም ድምፅ ሠሪዋ፣ አታላይዋ፣ የማሽኑን ምስክርነት ማመን ነበረብኝ፣ ግን አላመንሁትም፣ «እንሂድ፣ በአላህም በማርያምም ብላችሁ እንሂድ» አልኋቸው። ጀማል «አንድ ብቻ» አለ። ሞላ ጉንጬን በእርጥብ እጁ ዳበስ አድርጎ «አንዴ እንጨርስለትና እንሄዳለን፣ እኔ አለሁ አይደል?» አለኝ። እሺ አልሁ። ይቺን እሺ እስከ ዛሬ እያላመጥኋት ነው።

ሦስተኛው ላይ ማዳመጫውን አላደረግሁም፣ ጭኔ ላይ አስቀምጬ በሩን አያለሁ። ሞላ መታ፣ መታ፣ አዘገየ፣ መታ፣ አቆመ። ከዚያ በባዶ ጆሮዬ፣ እርጥብ ሣር ላይ የሚሮጥ እግር ሰማሁ።

ተነሥቼ ሮጥሁ። «ዛሬስ አልቀርም!» ሲል በሩ ላይ ደርሼ ነበር፣ ስከፍተው አንድ ነጠላ ያገለደሙ ሽማግሌ የወይራ ዱላ በሁለት እጃቸው አንሥተው ወንድሜ ላይ ያወርዳሉ። የመጀመሪያው ክንዱን አግኝቶት ምሳሩ ወድቋል፣ «እናቴን!» አለ ሞላ፣ ሁለተኛው መንጋጋው ላይ አረፈ፣ ያ ድምፅ፣ ያው ድምፅ፣ ፊቱ ወደ ጎን ሄደ። ግንዱ ላይ ወደቀ፣ ከአፉ የሚወርደው ደም ከተከተከተው ታፋ ጋር ተቀላቀለ፣ የቱ የማን እንደሆነ አይለይም። ጀማል ወጥቶ መሃል ሲገባ ጆሮ ግንዱን ብለው ጣሉት። ሦስተኛውን ሞላ ራስ ላይ ሊደግሙ ሲያነሱ ከፊታቸው ገብቼ ወገባቸውን አቅፌ ወደ ኋላ ገፋኋቸው፣ ታምናላችሁ፣ ክብደት የላቸውም፣ እንደ ጭራሮ ናቸው።

እኔን አላዩኝም። በትከሻዬ ላይ አሻግረው ቤቱ ውስጥ ያያሉ። «የት አለች?» አሉ።

«ማን አባባ?»

«ሐዋ! አሁን ጠራችኝኮ!»

«ከእኔ በቀር ሴት የለም፣ እኔም አልተጣራሁም።»

ግንዱን አዩ፣ ጆንያውን አዩ፣ መሬት ላይ የተተከለውን ካሜራ አዩ፣ ከዚያ ዱላቸውን ጥለው ጭቃው ላይ ቁጭ አሉ።

የመንደሩ ሰው ቃሬዛ ሠርቶ ሞላን እስከ መኪና መንገዱ ተሸከመልን፣ ከቃሬዛው ፊተኛ ተሸካሚዎች አንዱ ማን እንደነበሩ ልንገራችሁ? እኒያው ሽማግሌ። ስማቸው ይማም ነው። ሆስፒታሉ ግቢ ፖሊስ ቃላችንን ሲቀበል አጠገቤ ተቀምጠው የተናገሩትን እንደሰማሁት እነግራችኋለሁ። ሐዋ እህታቸው ነበረች። በዚያ ቤት ባሏ በምሳር ገደላት፣ ከዓመታት በፊት፣ እንዲሁ በጉም ቀን። የእሳቸው ቤት ከግቢው በታች ካለው እርከን ሥር ነው፣ ምሳሩን ሰምተዋል፣ መጀመሪያ እንጨት መሰላቸው፣ ኋላ «ወንድምዬ!» ስትል ሰሙ። «ፈራሁ ልጄ» አሉኝ። «ጋቢዬን ተከናንቤ ተኛሁ። ዛሬም ምሳሩን ስሰማ ተቀምጬ ነበር፣ ወላሂ፣ እንጨት ነው ብዬ ነበር። ስትጠራኝ ነው የተነሣሁ።»

ጀማል ራሱ ላይ ፋሻ ጠምጥሞ ከፊታችን ቆሟል፣ አልደነገጠም፣ ያኔ ገባኝ።

«ታውቅ ነበር?»

«ቤቱ ሲሸጥ የተወራ ወሬ ነው» አለ፣ ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ግን ትርንጎ፣ ካሜራው አልጠፋም ነበር። የተዘጋው በር፣ ሩጫው፣ ጩኸቱ፣ ሁሉም አለ። እንደዚህ ያለ መግቢያ...» አለና ፊቴን አይቶ ዋጠው። በማግስቱ ቪዲዮ ቤቱ ገብቼ ቀረጻውን ከሁሉም ቦታ አጠፋሁትና ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ትቼለት ወጣሁ፣ አሁን የምሠራው ሌላ ቪዲዮ ቤት ነው።

የሴቲቱ ጥሪ ግን ከማጥፋቴ በፊት አዳምጬ ፈልጌዋለሁ፣ የለም። ከምሳሩ በኋላ ዝምታ ነው፣ ከዝምታው በኋላ ሩጫ።

የሞላን መንጋጋ ደሴ ወስደው በሽቦ አሰሩት፣ ክንዱ ድኗል፣ መጋዝ ግን እንደ ድሮው አይይዝለትም። ለእርቅ ሽማግሌዎች ሲገቡ አፉ ገና እንደታሰረ ነበር፣ ወረቀት ጠይቆ «እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን እመጣ ነበር» ብሎ ጽፎ ሰጣቸው፣ አባባ ይማም ማንበብ ስለማይችሉ እኔ አነበብሁላቸው። ዱዓ ተደረገ፣ ጉልበቱን ሊስሙ ሲሉ ሞላ በደህና እጁ ያዛቸው። ሰው ሲበተን ወደ እኔ ጠጋ ብለው በጆሮዬ ጠየቁኝ። «ልጄ፣ እኔ ሳልመጣ መምጣቴን ሰማሽ አሉኝ። በዚያ በጆሮሽ ባደረግሽው ውስጥ ሌላ የሰማሽው አለ?»

«የለም አባባ» አልኋቸው።

ዋሸሁ። ለማንም አልነገርሁም፣ ለእናንተ ልንገራችሁ። አጥንቱ ከተሰበረ በኋላ፣ ማዳመጫውን ከመወርወሬ በፊት፣ በር ሦስት ጊዜ ተንኳኳ፣ የቆርቆሮ በር፣ የዚያ ቤት በር ሳንቃ ነው፣ እኔ የተከራየሁት ቤት በር ነው ቆርቆሮ። ቀጥሎ አንዲት ሴት «ማነው?» አለች። ድምፅ ለይቶ ማወቅ እንጀራዬ ነው፣ ድምፁ የእኔ ነበር። መልሱን አልሰማሁም፣ ወርውሬዋለሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ በር ሲንኳኳ ማነው አልልም፣ ዝም ብዬ ተነሥቼ እከፍታለሁ። ሞላ ይቆጣኛል፣ በዚያ በተጣመመ መንጋጋው ቃሉን እየጎተተ «ማን እንደሆነ ሳትጠይቂ እንዴት ትከፍቻለሽ?» ይለኛል።