በማጥፊያው ላይ የተለጠፈው ፕላስተር

መርማሪዋ ማሪት ቶለፍሰን በረዶው ላይ ተንበርክካ፣ ከኤሜት ስፕሬግ መኪና ጎን የተንጠለጠለውን የበረዶ ዘንግ ትለካ ነበር። አንድ ስንዝር ከአራት ጣት። ሌላው የመኪናው አካል በሙሉ ደረቅ ውርጭ ለብሷል። ቀልጦ ያንጠባጠበው የባትሪው ሳጥን ሥር ብቻ ነው።

ከራሷ በላይ፣ ፒካፑ ጀርባ ላይ በተጫነችው ጠባብ ቤት ውስጥ፣ የሰባ አንድ ዓመቱ ኤሜት በሁለት ብርድ ልብስ ሥር ደርቆ ተጋድሟል። ሌሊቱ ከዜሮ በታች ሠላሳ ዲግሪ ነበር። ጫማው በሩ አጠገብ ተቀምጧል። በረዶ ያልነካው፣ ደረቅ ጫማ ነው።

«ባትሪው አልቋል» አለች ከኋላዋ የቆመችው ልጁ ጃኔል። ጠዋት ከከተማ ቁርስ ይዛለት መጥታ ሬሳውን ያገኘችው እሷ ናት። «ባትሪው ሲያልቅ የጋዝ ማሞቂያው ማራገቢያ ቆመ። ማራገቢያው ሲቆም ደግሞ...»

አልጨረሰችውም። ማሪትም እንድትጨርሰው አልፈለገችም። በሰሜን ሞንታና ክረምቱን በመኪና ቤት የሚያሳልፍ ሁሉ ቀሪውን ያውቀዋል፤ ማራገቢያው ከቆመ ማሞቂያው ይጠፋል፣ የተኛውን ሰው ብርድ ይገድለዋል። ይህ ዓይነቱ ባትሪ በብርድ ኃይል ይሰጣል እንጂ አይቀበልም፤ ሳይሞቅ ከሞሉት ይበላሻል። ስለዚህ ከሥሩ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ምንጣፍ ይነጠፍለታል። ምንጣፉ ግን የሚጠጣው ከዚያው ከባትሪው ነው። ሌሊቱን በርቶ ካደረ ለቤቱ ማሞቂያ የሚተርፍ ነገር የለም።

«አባትሽ ሲመሽ ያጠፋው ነበር?»

«ሁልጊዜ። ጠዋት ፀሐይ ሶላሩን ከመንካቷ በፊት ለአንድ ሰዓት ያበራዋል፤ በቃ። ዛሬ መጀመሪያ የከፈትኩት የባትሪውን ሳጥን ነው፤ ማንንም ሳልጠራ። የምንጣፉ ማብሪያና ማጥፊያ እንደጠፋ ነው። ጎረቤቱ ሮይስ ‹ሽቦሽ ተጣብቆ ነው፣ ማጥፊያው ጠፍቶም ሲያሞቅ ያደረው› አለኝ።» ጃኔል ወደ ሳጥኑ ጠቆመች። «ሽቦውን የዘረጋሁት እኔ ነኝ። ይንገሩኝ፣ አባቴን የገደልኩት እኔ ነኝ?»

«ሳላውቅ አልነግርሽም» አለች ማሪት። ማባበል አይሆንላትም።

የሳጥኑን የውጭ በር ከፈተች። ማጥፊያው ትንሽ የቆርቆሮ ክዳን ተሠርቶለታል። ክዳኑን ስታነሳ ማጥፊያው በሰማያዊ ፕላስተር ተለጥፏል። የፕላስተሩ አንድ ጫፍ ተቦጫጭቆ፣ ቡናማ ነገር ደርቆበታል። በትንፋሿ አሙቃ አሸተተችውና ፊቷን ዞር አደረገች።

«አባትሽ ፕላስተር ይጠቀማል?»

«አባቴ? ሙጫው ጣት ላይ ይቀራል እያለ ይጸየፈዋል። ክዳኑን የሠራሁለት ለዚሁ ነው። ጠዋት ሳየው ግራ ገብቶኝ ነበር።»

በረዶ በለበሰው ወንዝ ዳር ከኤሜት ሌላ የሰፈሩት ሁለት መኪኖች ብቻ ናቸው። አንደኛው የሮይስ፣ ሌላው የዋንዳ ፒኬት ነው። ዋንዳ ፊቷ ገርጥቶ፣ ሆዷን ይዛ በሩን ከፈተች።

«ቶሎ በይ እህቴ! ሦስት ቀን ሙሉ ሽንት ቤትና አልጋ፣ አልጋና ሽንት ቤት ነኝ።»

«ከኤሜት ጋር ትጣሉ ነበር ይባላል።»

«በጄኔሬተሬ ጩኸት! የኔ ባትሪ የድሮ የመኪና ባትሪ ነው፤ ሲሞት ጄኔሬተር እለኩስበታለሁ። ምንጣፍ ምናምን የነሱ ጉድ ነው። ግን ትናንት እራት ላይ ታረቅን። ‹ሆድሽ ለምን እንደታመመ ነገ ጠዋት አሳይሻለሁ› አለኝ። ሮይስም እዚያው ነበር።»

«እንቅልፉስ እንዴት ነው?»

«ለወገቡ ክኒን ይውጣል። ከተኛ ቤቱ ቢፈርስ አይሰማም፤ ሁላችንም ስንስቅበት ነበር።» ዋንዳ አፏን ያዘች። «ይቅርታ፣ መጣብኝ።» በሩ ተዘጋ።

ሮይስ ደንሃም ለአዲስ መጪዎች የመኪና ቤት ኑሮን የሚያስተምር፣ «ስንሄድ የሰፈርንበት ቦታ ንጹሕ ይሁን» እያለ የሚሰብክ ሰው ነው። ጉንጩ በትምባሆ አብጧል። ባወራ ቁጥር በእጁ ወደያዘው የወረቀት ኩባያ እንትፍ ይላል፤ ኩባያው እስከ ግማሹ ሞልቷል። ማሪት ላለማየት ብትሞክርም ዓይኗ እዚያው ይመለስባታል።

«ግቢ እመቤቴ! ውሃ ልስጥሽ?» የታሸገ ውሃ ከካርቶን አወጣ። ካርቶኖቹ እስከ ጣሪያው ተደርድረዋል።

«የወንዙን አይጠጡም?»

«ለኔ ሆድ አይስማማም። ምስኪን ኤሜት! ልጁን ከልክ በላይ አመነ።» እንትፍ። ከዚያ ጓንቱን ሳያወልቅ ከጥቅሉ ሰማያዊ ፕላስተር ስቦ በጥርሱ በጠሰና ከቤቱ ማጥፊያዎች በአንዱ ላይ ለጠፈው። ጫፉ ላይ ቡናማ ምራቅ ቀረ። «እጅጌሽ ነክቶ ያበራውና ሳታውቂ ሲጠጣብሽ ያድራል። የጠፋ ሁሉ ይለጠፋል። ሕጌ ነው።»

ማሪት ወጥታ ንጹሕ አየር ሳበች። የራሷን መኪና ባትሪ ከኤሜት ሽቦ ጋር አገናኘችና ማጥፊያውን እንደጠፋ ትታው፣ ከሮይስ መኪና ጀርባ ወደ ወንዙ የሚወርደውን ዱካ ተከተለች። ዳር ላይ ያለውን አዲስ በረዶ በጫማዋ ጠረገችው። ከሥሩ ያለው በረዶ ሰማያዊና ቡናማ ነው፤ የመጸዳጃ ታንከር መድኃኒትና የሰው ዓይነ ምድር አብረው ረግተዋል። ሃምሳ እርምጃ ዝቅ ብሎ፣ ዋንዳና ኤሜት ውሃ የሚቀዱበት የበረዶ ቀዳዳ አለ።

እኩለ ቀን ላይ ሦስቱን በኤሜት መኪና ፊት ሰበሰበቻቸው።

«ከባትሪው ሥር በረዶ ቀልጧል። ስለዚህ ምንጣፉ ሌሊቱን ሲሞቅ አድሯል» አለች። «ማጥፊያው ግን ጠፍቶ ተገኘ። ጥፋቱ የሽቦው ይሆን? ማጥፊያው እንደጠፋ ሌላ ባትሪ ካገናኘሁ ሁለት ሰዓት አልፏል። ጃኔል፣ ምንጣፉን ንኪው።»

ጃኔል እጇን ሰደደች። «ቀዝቃዛ ነው።»

«አሁን አብሪው።»

ትንሽ ቆይታ ጃኔል እንደ ሕፃን ተንፈቀፈቀች። «ሞቀ... እየሞቀ ነው።»

«እንግዲህ ያበራው ሰው ነው፤ ያጠፋውም ሰው ነው። ኤሜት ነው እንዳንል፣ ባትሪው ሳያልቅ አጥፍቶት ቢሆን ማራገቢያው ባልቆመ። ካለቀ በኋላ እንዳንል፣ ማጥፊያው ውጭ ነው፣ ጫማው ደግሞ ደረቅ ነው። ስለዚህ ኤሜት ከሞተ በኋላ መጥቶ ያጠፋ ሰው አለ።» ፕላስተሩን በላስቲክ ከረጢት ውስጥ አነሳችው። «አጥፍቶም እጁ እንደለመደው ለጠፈበት። በጥርሱ በጥሶ፣ ከነትምባሆው።»

ሮይስ ኩባያውን ወደ ጀርባው ደበቀ።

«ዋንዳ፣ ኤሜት ሊያሳይሽ የነበረውን አይቼዋለሁ። ሮይስ ሽንት ቤቱን የሚገለብጠው ከምትጠጪው ውሃ ራስጌ ነው። እሱ የሚጠጣው የታሸገ ነው።»

ዋንዳ እግሯ ሥር አስታወከች። «ሦስት ቀን... ሾርባ ይዘህ እየመጣህ ‹እግዚአብሔር ይማርሽ› ስትለኝ!»

«መግደል አልፈለግኩም!» አለ ሮይስ። «ብርድ ቀስቅሶት ወደ ከተማ እንዲሄድ ነው። መሳቂያ እንዳልሆን...»

«አንተ» አለች ማሪት፤ እስካሁን አንቱ ስትለው ነበር። «ጠዋት ስትመጣ ከጭስ ማውጫው ምንም እንደማይወጣ አይተሃል። በሩ ከማጥፊያው ሁለት እርምጃ ነው። ለምን አላንኳኳህም?»

ቡናማ ምራቅ በሮይስ አገጭ ወረደ፤ አልጠረገውም። ማሪት በካቴና ስታስረው እንኳ ጓንቷን አላወለቀችም።

ወደ መኪናዋ አስገብታው ስትመለስ ጃኔል የባትሪው ሳጥን ፊት ተንበርክካለች።

«ሽቦሽ ደህና ነው» አለቻት ማሪት።

ጃኔል እጇን ወደ ሳጥኑ ሰደደች። ማጥፊያውን አጠፋች፤ የቆርቆሮ ክዳኑን መለሰች። የሳጥኑን በር ገጥማ ላልተው የነበሩትን አራት ብሎኖች አንድ በአንድ አጠበቀች፤ መፍቻውንም በአባቷ ቤት ደረጃ ላይ አስቀመጠችው።